«ውሻ ታስሮ ካላደገ አይከፋም»፤ እውነት ነው ወይስ ሰበብ?

የሳቢያኗ፦
ጎበዝ፣ ይህን ሳልተነፍስ ብተኛ እንቅልፍ አይወስደኝም። ዛሬ የሰፈራችን ስብሰባ ነበር። የተጠራነው ለውሻ ጉዳይ ነው። ባለፈው አንድ ውሻ ሰንሰለቱን በጥሶ ወጣና ከትምህርት ቤት የምትመለስ ልጅ ባቷን ነከሳት። ታዲያ አንድ ትልቅ ሰው ተነስተው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ውሻ ታስሮ ካላደገ አይከፋም። ያልከፋ ውሻ ምን ይሠራል?» ቤቱ በጭብጨባ ቀለጠ። የልጅቷ እናት እዚያው ተቀምጣለች እኮ!

ውሻውን አውቀዋለሁ። በራችን ፊት ለፊት ነው። ቡችላ ሆኖ መጣ፣ ጆሮውን ቆረጡት፣ ቆርቆሮ አጥር ሥር አሰሩት፣ በቃ። ሰንሰለቱ የሚደርስበት ድረስ መሬቱ ተልጦ አቧራ ሆኗል፤ ከዚያ ወዲያ ሣር አለ። ውኃው በቀለም ጣሳ ነው። ቀን ላይ ጣሳውን ብትነኩት እጅ ይፈጃል። ውሻ እንደኛ በላብ አይቀዘቅዝም፤ ምላሱን አውጥቶ እያለከለከ ነው። በግንቦት የድሬዳዋ ፀሐይ ቆርቆሮ ሥር የታሰረ ፍጡር ቢቆጣ ምን ይገርማል? ከፋ ትላላችሁ። እሺ፣ ከፋ። የነከሰው ግን ሌባ አይደለም።

አቦ ከዚራ፦
አቦ አታካብጂ! ሰውዬው ምን አጠፉ? ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። አባቴም አያቴም እንደዚህ ነው ያሳደጉት። የተፈታ ውሻ ከመጣ ከሄደው ጋር ጭራውን ሲቆላ ይውላል። ሌባ ዳቦ ቢወረውርለት መንገድ ያሳየዋል። እናንተ ግቢ ዘበኛ አለ መሰለኝ። የእኛ ዘበኛ እሱ ነው።

ሌሊት ተረኛ፦
ዘበኛ ካልክ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሌሊት ሲጮህ ተነስተህ ታያለህ?

አቦ ከዚራ፦
ሁልጊዜ ይጮሃል፤ ስንቴ ልነሳ?

ሌሊት ተረኛ፦
ጨረስኩ።

አቦ ከዚራ፦
ምኑን ነው የጨረስከው?

ሌሊት ተረኛ፦
ለሌባውም፣ ለድመቱም፣ ለባጃጁም እኩል የሚጮህ ውሻ አለህ። አንተ አትነሳም። ሌባው አንተ እንደማትነሳ ያውቃል። ታዲያ ማንን ነው የሚያስፈራው? እኔን ነው። ተረኛ ባልሆንኩባት ሌሊት ጎኔን ላሳርፍ ስል የእናንተ ሰፈር ጀመረ ማለት ነው። አንዱ ሲጀምር ሌላው ይቀበላል፤ እስከ ለገሃሬ ይደርሳል።

የከብት ሐኪም፦
ሙያዬ ስለሆነ ልግባ። ሰውዬው ያሉት ግማሹ እውነት ነው። ታስሮ ያደገ ውሻ ይከፋል። ችግሩ የሚከፋበትን ሰው አይመርጥም። የፈራ ውሻ ወይ ይሸሻል ወይ ይናከሳል። ሰንሰለት መሸሹን ይዘጋበታል። የቀረው ጥርሱ ነው።

ዋናው ነገር ደግሞ የቡችላነት ጊዜው ነው። ከተወለደ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ያየውን ነገር ይለምዳል፤ አያስፈራውም። በዚያ ጊዜ ሕፃን፣ ባጃጅ፣ ሽርጥ የለበሰ ሰው፣ ጃንጥላ የያዘች ሴት ካላየ ካደገ በኋላ ሁሉም ጠላት ይመስለዋል። እኛ ደግሞ ልክ በዚያ ዕድሜው አጥር ሥር እናስረዋለን።

አቦ ከዚራ፦
ጃንጥላ!! ሐኪሙ በሞቴ፣ ውሻዬን ከጃንጥላ ጋር ላስተዋውቀው? «ተዋወቅ፣ ጃንጥላ ትባላለች፣ ከታይዋን ገበያ ነው የመጣችው» ልበለው?

የመጋላው፦
😂😂 ወላሂ ገደልከኝ!

የሳቢያኗ፦
ሳቁ። የተነከሰችው ልጅ ጃንጥላ ይዛ ነበር። ለፀሐይ።

አቦ ከዚራ፦
እና ጥፋቱ የጃንጥላው ሆነ ማለት ነው?

የሳቢያኗ፦
ጥፋቱ ውሻው ዕድሜውን ሙሉ አንድ አጥር ብቻ እንዲያይ ያደረገው ሰው ነው። ጃንጥላ ሲዘረጋ ምን እንደሆነ በምን ያውቃል?

አቦ ከዚራ፦
በሉ እንግዲህ፣ በድሬ ጃንጥላ የማትይዝ ሴት የለችም። ሁሉንም በሰልፍ ላሳየው?

የከብት ሐኪም፦
ሰልፍ አያስፈልግም። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ በገመድ ይዘኸው ወጣ በል። ሰው ሲያልፍ ዝም ካለ ቁራሽ ነገር ስጠው። በቃ። ለትልቅ ውሻም ይሠራል፤ ጊዜ ይፈጃል እንጂ። ስለ ጩኸቱም ልጨምር። ቀኑን ሙሉ የታሰረ ውሻ የሚሠራው ስለሌለው ነው የሚጮኸው። ከመስኮት ሆነህ «ዝም በል!» ብለህ ስትጮህበት አብረኸው የምትጮህ ነው የሚመስለው። ይብሳል።

የመጋላው፦
ጥሬ ሥጋ ስለሚያበሉት ነው የሚከፋው ይባላል እኮ። ሚጥሚጣ የሚሰጡትም አሉ።

የከብት ሐኪም፦
ሥጋው አያከፋውም። ሚጥሚጣው ግን አፍና ሆዱን ያቃጥለዋል፤ ያመዋል። የታመመ እንስሳ ደግሞ ይናከሳል።

ኡስታዝ አይደለሁም፦
እኔ አንድ ነገር ከነከነኝ። አንዳንዱ «እስላም ቤት ውሻ አይወደድም፣ ስለዚህ ይታሰራል» ይላል። ውሻ ቤት አይገባም፤ ልክ ነው። ምራቁ የነካውን ዕቃ ሰባት ጊዜ እናጥባለን፣ አንዱን በአፈር። ይህ የንጽሕና ሕግ ነው፤ የማሰቃየት ፈቃድ አይደለም። የተጠማ ውሻ አይቶ ከጉድጓድ በጫማው ውኃ ቀድቶ ያጠጣው ሰውዬ አላህ ማረው የሚለውን ሐዲስ ልጅ ሆነን መድረሳ ሰምተነዋል። የቀለም ጣሳ ላይ የፈላ ውኃ የሚያስቀምጥ ሰው ሃይማኖት አይጥቀስብን።

አቦ ከዚራ፦
ሃይማኖት ማን ጠቀሰ? እኔ ስለ ሌባ ነው የማወራው!

የጁገል ልጅ፦
የድሬ ልጆች ታሳዝናላችሁ። እኛ ሐረር ጅብ እናበላለን፣ ከግንቡ ሥር መግቢያ ቀዳዳ አለው፣ ሌሊት ገብቶ ቆሻሻውን ለቅሞ ይወጣል፤ እኛም በሰላም እንተኛለን። እናንተ አንድ ውሻ አሳደጋችሁ ከተማ ሙሉ አይተኛም።

አቦ ከዚራ፦
የሐረር ውሻ ጅቡ ሲመጣ የት ነው የሚገባው? አልጋ ሥር?

የጁገል ልጅ፦
ቢያንስ የተማሪ ባት አይነክስም።

ሌሊት ተረኛ፦
የሐረርና የድሬን ጨዋታ ለሌላ ቀን አቆዩልን። ልጅቷ ምን ሆነች?

የሳቢያኗ፦
ቤተሰቦቿ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጠው ቁስሉ ላይ አሠሩላት። ከዚያ የባህል መድኃኒት አዋቂ ጋ ሊወስዷት ነበር። አንዷ ጎረቤት ጮኻ ጤና ጣቢያ አስላከቻት። ክትባቱን ጀምራለች።

የከብት ሐኪም፦
ጎረቤቷ ትመረቅ። እባካችሁ ይህን አትቀልዱበት። ውሻ ሲነክስ መጀመሪያ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብ። ሽንኩርት የለም፣ ቡና የለም፣ ቅባት የለም። ከዚያ በቀጥታ ጤና ተቋም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ክትባቱ የሚያድነው ከዚያ በፊት ከተጀመረ ነው። ውሻውንም አትግደሉት። ታስሮ 10 ቀን ይታይ። በሽታው ይዞት ከሆነ በነዚያ ቀናት ይታወቃል፤ ደህና ከሆነም ይለያል።

አቦ ከዚራ፦
አያችሁ! አያችሁ! «ታስሮ» አለ! ሐኪሙ ራሱ ይታሰር አለ!

የከብት ሐኪም፦
10 ቀን አልኩ እኮ ወንድሜ።

አቦ ከዚራ፦
ሐኪም ሲያስር ሕክምና፣ እኛ ስናስር ወንጀል። ገባኝ።

የመጋላው፦
እኔ መፍትሔ አለኝ። ሥጋ ውስጥ መርዝ ነው። አንድ ሌሊት፣ ሁሉም ጸጥ።

የሳቢያኗ፦
አፍህን ያዝ! ያንን ሥጋ ሕፃን ቢያነሳውስ?

የከብት ሐኪም፦
ደግሞ አይሠራም። የሞቱት ቦታ ላይ ሌሎች ይመጣሉ፤ ቆሻሻው እስካለ ድረስ። ከተማ ውስጥ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ቢከተቡ በሽታው መዛመት ያቆማል። መርዝ የተከተበውንም ያልተከተበውንም ነው የሚገድለው።

የድመቶች እናት፦
ሐኪሙ ካለህ እኔም ልጠይቅ። ወንድ ድመት አለኝ። ፍራሽ ላይ ይሸናል። አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ደፍቄ መታሁት። በማግስቱ ትራሱ ላይ ሸና። በረኪና አፍስሼ አጠብኩት፤ ሽታውን ፈልጎ እዚያው ተመለሰ። እልኸኛ ነው?

አቦ ከዚራ፦
በጆንያ አድርገሽ ደቻቱ ወንዝ ማዶ! አለቀ።

የከብት ሐኪም፦
ድመት እልህ አያውቅም። አፍንጫውን ስትደፍቂው የተማረው አንቺን መፍራት ነው። ቆሞ ጭራውን ቀጥ አድርጎ ግድግዳ ላይ የሚረጭ ከሆነ ክልሉን ምልክት እያደረገ ነው፤ ከተኮላሸ ብዙዎቹ ይተዋሉ። ቁጢጥ ብሎ ፍራሽ ላይ ከሆነ ወይ ታሟል ወይ መጸዳጃውን ጠልቶታል። ሰፋ ያለ ሳህን ውስጥ የደቻቱ አሸዋ አድርጊለት፣ ከምግቡ አርቂው፣ በየቀኑ ጥረጊው። በረኪናውን ተዪ። ከሽንት ጋር ሲቀላቀል ለሳንባ የማይሆን ጋዝ ያወጣል። አንድ ነገር ብቻ አትርሺ፤ ቁጢጥ ብሎ አምጦ ምንም ጠብ ካላለ ነገ አትበዪ። ወንድ ድመት ቱቦው ተዘግቶ በቀናት ውስጥ ይሞታል።

አቦ ከዚራ፦
ይኮላሽ?! ወንድነቱን ልትወስዱበት ነው? ፍራሽ ስለሸና?

የድመቶች እናት፦
ፍራሹን አንተ ግዛልኛ።

ጡረተኛው ባቡር፦
ልጆች፣ እንደምን አላችሁ። ስብሰባው ላይ የተናገርኩት እኔ ነኝ። አሁንም እለዋለሁ። የምኖረው በጡረታ ነው። የውኃ ፓምፔን ዲናሞ ሌሊት ፈትተው ወሰዱት። ቀጥሎ የልብስ ማስጫ ገመዱን ከነልብሱ። ውሻ ካሰርኩ ወዲህ ማንም አልገባም። ሐኪሙ ሳምንት ይቆጥራል፤ እኔ ዲናሞዬን እቆጥራለሁ።

የሳቢያኗ፦
ጋሼ፣ እርስዎ እዚህ መኖርዎን አላወቅሁም። አክብሮቴ እንዳለ ነው። ግን የእርስዎን ዲናሞ ዕዳ ያቺ ልጅ በባቷ ለምን ትከፍላለች?

ጡረተኛው ባቡር፦
የነከሳት የእኔ ውሻ አይደለም። የእኔ ሰንሰለት ወፍራም ነው።

አቦ ከዚራ፦
ጋሼ ይኑሩልን! 👏👏

የከብት ሐኪም፦
ጋሼ፣ ልጠይቅዎት። ውሻዎ የታሰረው በር ጋ ነው፣ አይደል? ሌባው በጓሮ አጥር ዘሎ ቢገባስ? የታሰረ ውሻ የሚጠብቀው ሰንሰለቱ የሚደርስበትን ብቻ ነው። አጥሩ ደህና ከሆነ በሩን ዘግተው ግቢ ውስጥ ይፍቱት። ግቢውን ሁሉ ይዞራል፣ እንግዳ ኮቴ ይለያል። ሰው የለመደ ውሻ ሌባ ሲገባ ዝም ይላል ያለው ማነው? የቤቱን ሰው ከውጭ ሰው የሚለየው ከቤቱ ሰው ጋር ስለኖረ ነው።

ጡረተኛው ባቡር፦
አጥሬ ቁልቋልና ቆርቆሮ ነው። ብፈታው ሾልኮ ይወጣል። ከዚያ ማንን ነክሶ ይመጣ ይሆን? ያኔ ደግሞ «ለምን አላሠሩትም» ብላችሁ ስብሰባ ትጠሩብኛላችሁ።

ሌሊት ተረኛ፦
ይቺ እውነት አላት።

የሳቢያኗ፦
ምን እውነት አላት? አጥር የሌለው ሰው የሚናከስ ውሻ ለምን ያሳድጋል?

አቦ ከዚራ፦
እንግዲህ ደሃ ይዘረፍ ነው የምትይው!

የሳቢያኗ፦
እንደዚያ አላልኩም!

ኡስታዝ አይደለሁም፦
ቢያንስ ሁሉም ውሻውን ያስከትብ፣ ጥላ ያብጅለት፣ ውኃውን ጥላው ሥር ያስቀምጥለት። በዚህ እንኳ አንስማማም?

አቦ ከዚራ፦
ክትባቱን ማን ይከፍላል? ስብሰባ የጠራው ኮሚቴ ይክፈል። ለሻሂና ለሳምቡሳ አዋጥተናል አይደል?

የሳቢያኗ፦
ለጫትህ ማን ይከፍልልሃል?

አቦ ከዚራ፦
በርጫዬን አትንኪ! ሌላውን ሁሉ ተናገሪ።

የመጋላው፦
😂 አሁን ነው ጦርነቱ የተጀመረው።

የድመቶች እናት፦
ሐኪሙ፣ ለማኮላሸት ስንት ወር ሊሞላው ይገባል?

የከብት ሐኪም፦
5 ወይም 6 ወር ሲሞላው ይቻላል። የእሱ ዕድሜ ስንት ነው?

አቦ ከዚራ፦
ሽሽ በሉት ድመቱን! ጁገል ይግባ፣ እዚያ ቀዳዳ አለ!

የጁገል ልጅ፦
እንቀበለዋለን። ጃንጥላም እናለማምደዋለን።

ጡረተኛው ባቡር፦
የድመቱን ጉዳይ በውስጥ መስመር ጨርሱ። ስለ አጥሬ የመለሰልኝ ሰው የለም።