«ለጓደኛው ሲል» ነው ወይስ ውስኪው ነው?

የካሳንቺስ ልጅ፦ ትናንት አንዱ «አንፎርጊቭን ስለ ጓደኝነት የተሠራ ምርጥ ዌስተርን (የካውቦይ ፊልም) ነው፤ መኒ ለጓደኛው ለኔድ ሲል ሲኦል ገባ» ብሎ ለጠፈና ላይክ ዘነበለት። ቆይ፣ ኔድን ከቤቱ ማን አወጣው? ሰውዬው እርሻውን ይዞ ከሚስቱ ጋር ተቀምጧል። የድሮ ነፍሰ ገዳዩ መኒ «ሰው ገድለን እንካፈል» ብሎ የሺህ ዶላር ሽልማት ወሬ ይዞ መጣበት። ሚስቱ ሳሊ እንዴት እንዳየችው ልብ ብላችኋል? ቃል አልተነፈሰችም፤ ሁሉም ገብቷታል።

ሳሮን፦ «አንዱ» አይደለሁም፣ አንዷ ነኝ። ኔድ ሕፃን ነው እንዴ? ወዶ ነው የሄደው። መኒ ብሩ እጁ ገብቶ ነበር፤ መጥፋት ይችል ነበር። ብሩን አብሯቸው ለሄደው ወጣት ለኪድ አስረክቦ፣ የሳሊንም ድርሻ አስቦ፣ ብቻውን ኔድ ወደተገደለባት ከተማ ወደ ቢግ ዊስኪ ተመለሰ። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?

ሁለት ሽጉጥ፦ መኒ አልተመለሰም። ውስኪው ነው የተመለሰው 😂

ሳሮን፦ «ውስኪው ነው የተመለሰው»! ዝናብ ላይ ኔድ ራሱ ሲሰጠው ጠጣ? ትኩሳት ይዞት ሲንቀጠቀጥስ ጠጣ? ብሩን ያመጣችለት ልጅ የኔድን አሟሟት ስትነግረው ነው ጠርሙሱን ያነሳው። ኀዘን ነው ያስጠጣው።

ሁለት ሽጉጥ፦ ሰካራም ሁሌም ኀዘን አያጣም። ከተማዋ ራሷ ስሟ ውስኪ ነው።

ጋሽ ደጀኔ፦ ልጆች፣ ስኪኒን ረሳችሁት። መኒ መጀመሪያ የገደለው ሸሪፉን አይደለም። የመሸታ ቤቱን ባለቤት ነው፤ ያውም ባዶ እጁን። የኔድን ሬሳ ደጁ ላይ ማስታወቂያ አድርጎ አቁሞታላ። ደግሞ «የቤቱ ባለቤት ማነው?» ብሎ ጠይቆ ነው የተኮሰው። ውስኪ እንዲህ አጣርቶ ይጠይቃል?

ሁለት ሽጉጥ፦ ጋሽ ደጀኔ፣ አከብርዎታለሁ። ግን ኔድን ገርፎ የገደለው ሸሪፉ ሊትል ቢል ነው። እነዚያ ምክትሎች ለምን ረገፉ?

ሳሮን፦ ሲገረፍ ቆመው ያዩት እነማን ነበሩ?

የካሳንቺስ ልጅ፦ ስለ ግርፊያው ካነሳችሁ፣ ዋዮሚንግ ነው፣ 1880 ገደማ ነው። ጥቁር ሰው፣ ነጭ ሸሪፍ፣ ጅራፍ። ፊልሙ ስለ ቀለሙ አንዲት ቃል የለውም። ዳይሬክተሩ ኢስትዉድ ፈርቶ ነው።

ሳሮን፦ ጅራፉን እያየህ ማብራሪያ ትፈልጋለህ? በትርጉም ነው መሰለኝ ያየኸው፤ ተራኪው ካልነገረህ አይገባህም።

የካሳንቺስ ልጅ፦ ትርጉም ፊልምን አትንኪ! አንቺ ዲሲ ስለሆንሽ ነው?

ፖፕኮርን፦ ጓደኝነት የፈለገ ሌላውን ዌስተርን፣ ቶምስቶንን ይይ። ዶክ ሆሊዴይ ሳንባው እያለቀ ከዋያት ኧርፕ ጎን አልጠፋም።

ሁለት ሽጉጥ፦ ዶክን ሆኖ የሠራው ቫል ኪልመር ስላስነጠሰና ስለሳለ ጓደኛ ሆነ?

ፖፕኮርን፦ በፈረስ ላይ ሆነህ ሳል ከቀለለህ ሞክረው።

ሳሮን፦ አንፎርጊቭን እኮ አራት ኦስካር ነው የወሰደው።

የካሳንቺስ ልጅ፦ አንዱን ለማን ሰጡት? ለጂን ሃክማን! ሊትል ቢልን ሆኖ ኔድን ለገደለው!

ጋሽ ደጀኔ፦ ለትወናው ነዋ ልጄ።

የካሳንቺስ ልጅ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ለቀልድ ነው። ግን አንድ ነገር ይመለስልኝ። ኔድ እኮ በዚያ ጉዞ ማንንም አልገደለም። መተኮስ አቅቶት ትቶ ሲመለስ ነው የያዙት። ታዲያ መኒ ሳሊ ፊት ቀርቦ «ባልሽ በእኔ ጦስ ሞተ» ያለበት ቦታ የታለ? ደቂቃውን ጻፉልኝ።

ሳሮን፦ ለቅሶ ካልደረሰ ጓደኛ አይደለም ልትል ነው?

የካሳንቺስ ልጅ፦ አዎ! ልል ነው! አምስት ሰው መግደል ይቀላል፣ ሳሊን ማየት ነው የከበደው።

ሁለት ሽጉጥ፦ መጨረሻ ላይ ሳን ፍራንሲስኮ ሄዶ በንግድ በለጸገ ይላል። ለቅሶ ሳይሆን ሱቅ ነው የደረሰው።

ሳሮን፦ «ይባላል» ነው የሚለው። በወሬ ሰው አትክሰስ።

ሁለት ሽጉጥ፦ ወሬውን ውስኪው ነው ያወራው በያ።