ጣፋጭ በቆሎዬ ጣዕሙ የት ገባ? (ሽምብጥ፣ ባሕር ዳር)

የሽምብጧ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሽምብጥ ነው የምኖረው። ጓሮዬ ትንሽ ናት። ጎመን፣ ቃሪያ፣ ጌሾ እና አንድ የማንጎ ዛፍ አለባት።

ባለፈው ዓመት እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ አንድ ፓኬት የስዊት ኮርን (የጣፋጭ በቆሎ) ዘር አመጣችልኝ። ስሙ ጎልደን ባንታም ነው። «ዲቃላ አይደለም፣ ከራሱ ዘር እየያዝሽ ትዘሪዋለሽ» አለችኝ። ጣዕሙን አውቀዋለሁ። እሷ ጋ ሄጄ በነበረ ጊዜ ከጓሮዋ ቆርጣ ሳይበስል አቅምሳኝ ነበር። ወተቱ በአገጬ ላይ ወረደ። ያኔ ያሰብኩት እናቴን ነው። እሸት ትወዳለች፣ ግን ጥርሷ አልቋል። የእኛ በቆሎ ተጠብሶም ተቀቅሎም አሁን ይከብዳታል።

ሰኔ 8 ቀን አጥሩን ተከትዬ በአንድ መስመር 30 ፍሬ ዘራሁ። 22ቱ በቀሉ። የበሰበሰ ፍግ ጨመርኩ፣ አረምኩ፣ ሁለቴ ኮተኮትኩ። ቁመቱ እስከ ትከሻዬ ነው። ከአጥሩ ማዶ ያለው የጎረቤቴ በቆሎ ግን ግንቦት አጋማሽ ላይ የተዘራ ምርጥ ዘር ስለሆነ ከአጥሩ በላይ ነበር። ሁለቱም ነሐሴ 10 አካባቢ አበቡ።

ለእንቁጣጣሽ ብዬ ዋዜማውን ማታ ቆረጥኩ። ጠዋት ቀቀልኩት። ሽፋኑን ስልጠው ጥርሱ እንደ ወለቀ ሰው ነው፤ ፍሬ፣ ባዶ፣ ሁለት ፍሬ፣ ባዶ። ጣዕሙ ደግሞ አንዱ ፍሬ ማር፣ አጠገቡ ያለው ደረቅ ዱቄት። እናቴ ጥቂት ፍሬ ፈልፍላ ቀመሰችና ሳህኑ ላይ መለሰችው። ምንም አላለችም። እኔ ግን በጣም ከፋኝ።

አፈሩ ነው? ማዳበሪያ ነው? ወይስ ዘሩ እዚህ አገር አይሆንም? ስድስት ራስ ሳልቆርጥ ትቼ አገዳው ላይ ደርቋል። የሚያውቅ ይንገረኝ።

የሮቢቱ ልጅ፦

እህቴ፣ በርቺ። እኔ ሮቢት ነኝ፣ በመስኖ ነው የምንሠራው። በመጀመሪያ በአንድ መስመር መዝራትሽ ነው የጎዳሽ። በቆሎ ጓደኛ ይፈልጋል። 22 አገዳ ካለሽ በአራት መስመር አድርገሽ እንደ ትንሽ ማሳ ዝሪው። በመስመሮቹ መሃል 75 ሳንቲም፣ በአገዳና በአገዳ መሃል ደግሞ 25 ወይም 30 ሳንቲም ይኑር። ባዶ ቦታው በጣም ይቀንስልሻል። ዩሪያ ደግሞ ጉልበት ደረጃ ሲደርስ ትንሽ ብትሰጪው ጥሩ ነበር። የጣዕሙን ነገር ግን አላውቅም፤ ይህን ዘር ዘርቼው አላውቅም።

ጡረተኛው (ዘጌ መንገድ)፦

ልጄ፣ አፈርሽን አትውቀሺው። ብዙ ዓመት በግብርና ባለሙያነት ሠርቻለሁ፣ አሁን ጓሮዬን አለማለሁ። «አንዱ ፍሬ ማር፣ አጠገቡ ያለው ዱቄት» ያልሽው ነገሩን ጨርሶታል። አፈር ቢሆን ኖሮ ራሱን በሙሉ ያበላሸዋል እንጂ ፍሬ እየመረጠ አያበላሽም።

በቆሎ የሚዳቀለው በነፋስ ነው። አናቱ ላይ ያለው አበባ ወንዴ ነው፣ ብናኙ የሚወጣው ከእሱ ነው። ከራሱ ጫፍ የሚንጠለጠለው ጸጉር የሴቴው ነው። እያንዳንዱ የጸጉር ዘለላ የአንድ ፍሬ ነው። ብናኝ ከደረሰው ፍሬ ይሆናል፣ ካልደረሰው ቦታው ባዶ ይቀራል። ባንድ መስመር ሲዘራ ነፋሱ ብናኙን ወደ ጎን ይዞት ይሄዳል። የሮቢቱ ልጅ ያለሽ ትክክል ነው።

የጣዕሙ ነገር ግን ከአጥሩ ማዶ ነው የመጣው። ጣፋጭነት ከእናትም ከአባትም ካልመጣ አይታይም። ያንቺ ጸጉር ላይ የጎረቤትሽ ብናኝ ካረፈ ያ ፍሬ ወዲያው፣ በዚያው ዓመት፣ ተራ በቆሎ ይሆናል። ለልጅ ልጁ አይቆይም። ለዚህ ነው በአንድ ራስ ላይ ሁለቱም ጎን ለጎን የተገኙት። ጎረቤትሽ ምንም አላጠፉም። ሁለታችሁም ነሐሴ 10 አካባቢ ባታብቡ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ማረጋገጥ ከፈለግሽ የደረቁትን ስድስቱን ራሶች ፈልፍያቸው። የጎረቤት ብናኝ ያረፈበት ፍሬ ሙሉና ለስላሳ ነው፣ ጉንጩ የሞላ። ንጹሑ ስዊት ኮርን ግን ሲደርቅ ይጨማደዳል። ወደ ብርሃን ብትይዥው ብርጭቆ ይመስላል። ውስጡ የሚሞላው ስታርች (ዱቄቱ) ስላነሰ ነው የሚኮማተረው። ጫፍ ላይ ያሉትን ጭርንቁስ ፍሬዎች ግን አትቁጠሪያቸው፤ እነሱ ሳይበስሉ የቀሩ ናቸው። የጎረቤትሽንም በቆሎ እይው። ነጭ ከሆነ በመሃሉ ፈዛዛ ቢጫ ፍሬ ታገኛለሽ። የአንቺ ብናኝ ነው።

ዘሩ አልጠፋብሽም፣ ይህን ልብ በይ። የተጨማደደው ፍሬ ከሁለቱም ወገን ጣፋጭነቱን ያገኘ ነው። እሱን ብቻ ለቅመሽ ዝሪ። ለስላሳውን ለንፍሮ አድርጊው። ዘር ስትይዢ ከአንድ ራስ ብቻ አትያዢ፣ ከብዙ አገዳ ቀላቅይ። በቆሎ በዝምድና ሲራባ በጥቂት ዓመት ይቀጭጫል።

ሁለተኛው ጥፋት የሰዓቱ ነው። ይህ ዘር እንደተቆረጠ ስኳሩ ወደ ስታርች መለወጥ ይጀምራል። ሙቀት ባለበት ክፍል ያደረ ከሆነ ደግሞ ይፈጥናል። ማታ ቆርጠሽ ጠዋት ከቀቀልሽው ንጹሑም ፍሬ ከጣዕሙ የተወሰነውን ማታውኑ ጥሏል። ውሃው ሲፈላ ነው ወደ ጓሮ የሚወጣው። ጸጉሩ ከወጣ ከሦስት ሳምንት በኋላ በየቀኑ አንዱን ሽፋኑን ገለጥ አድርገሽ በጥፍርሽ ፍሬውን ውጊው። ጥርት ያለ ውሃ ከወጣ ገና ነው። ወተት ከወጣ ደርሷል። ሊጥ ከሆነ አልፏል። አንቺ በዓሉን ጠብቀሽ ነው የቆረጥሽው። በቆሎው በዓሉን አያውቅም።

ያ ዘር እ.ኤ.አ. በ1902 ነው በአሜሪካ ለገበያ የወጣው። በዚያ ጊዜ እዚያ ሰው ነጩን በቆሎ ነበር የሚመርጠው፣ ቢጫውን የከብት መኖ ነው ይለው ነበር። ለብዙዎቹ ሐሳባቸውን ያስቀየራቸው ይኸው ዘር ነው። ራሱ አጭር፣ ስምንት መስመር ብቻ ያለው ነው። ስለዚህ ራሱ አነሰ ብለሽ አትዘኚ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ዘር ሲመጣልሽ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይዞ ይምጣ። ተባይም በሽታም በዘር ይገባል፣ ጉዳቱም ለጎረቤት ሁሉ ነው።

ለሚቀጥለው ክረምቱን ተይውና በመስኖ ዝሪ። ጥር መጨረሻ ወይም የካቲት መጀመሪያ ላይ፣ ሌሊቱ ለዘብ ሲል። ይህ ዘር በቀዝቃዛና በረጠበ አፈር ይበሰብሳል። ስምንቱ ያልበቀሉብሽም በሰኔው ዝናብ ሳይበሰብሱ አይቀሩም።

የሮቢቱ ልጅ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ነገር ግን ልጨምር። በመስኖ ጊዜም ሁሉ ቦታ ነጻ አይደለም። እኛ ጋ ለእሸት ብለው በበጋ በቆሎ የሚዘሩ አሉ። እህቴ፣ ከመዝራትሽ በፊት ዙሪያሽን ጠይቂ።

ጡረተኛው (ዘጌ መንገድ)፦

ልክ ነህ ልጄ፣ እኔ ዘንግቼዋለሁ። የሚያስፈልገው በአበባቸው መሃል ሁለት ሦስት ሳምንት ልዩነት ነው። ልዩነት ማግኘት ካልተቻለ በእጅ ማዳቀል ይቻላል። ጸጉሩ ሳይወጣ ራሱን በካኪ ወረቀት ሸፍኚው። ጠል ሲደርቅ፣ ጠዋት ሦስትና አራት ሰዓት ላይ፣ የራስሽን አበባ በሌላ ወረቀት ውስጥ አራግፊና ያንን ብናኝ ጸጉሩ ላይ ነስንሽ። መልሰሽ ሸፍኚ። ሦስት አራት ቀን ደጋግሚው።

የቀበሌ 14 እናት፦

እኔ የምጨምረው ስለ ተምች ነው። ይሄ ከአሜሪካ የመጣው ተምች እኛ አገር ከገባ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በቆሎ ያለ ክትትል አይሆንም። በበጋ ደግሞ ይብሳል። ቅጠሉ መስኮት መስኮት ከሆነና መሃሉ ላይ የእንጨት ብናኝ የሚመስል ኩስ ካየሽ እሱ ነው። ግንባሩ ላይ የተገለበጠ መንታ መንገድ የመሰለ ነጭ መስመር አለው። ወደ ጅራቱ ደግሞ አራት ጥቁር ነጥብ በአራት ማዕዘን። 22 አገዳ ለእጅ ለቀማ ቀላል ነው። እኔ ማለዳ ማለዳ እየለቀምኩ እጨፈልቃለሁ፣ በአገዳው አናት ደግሞ ትንሽ አመድ አደርጋለሁ። ሳምንት ካለፈሽ ግን ወደ ውስጥ ይገባና አታገኚውም።

የሽምብጧ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ጋሼ፣ ያሉኝን አደረግሁ። ስድስቱን ራስ ከእናቴ ጋር ቁጭ ብለን ፈለፈልነው። የተጨማደደው 338 ፍሬ ነው። ለስላሳው 497። ከጎረቤቴ አጥር በኩል ጫፍ ላይ የነበረው ራስ ከሞላ ጎደል ሁሉም ለስላሳ ነው። ነፋሱ ከዚያ በኩል ነበር ማለት ነው።

ጎረቤቴ ጋም ሄድኩ። እሳቸውም ነጭ በቆሏቸው ውስጥ ቢጫ ፍሬ እያዩ በሽታ መስሏቸው ተጨንቀው ነበር። ነገሩን ስነግራቸው አረፉ። በበጋ በቆሎ አይዘሩም፣ በጀርባ ያሉትንም አብረውኝ ጠየቁልኝ። የሚዘራ የለም። ስለዚህ የካቲት መጀመሪያ፣ አራት መስመር፣ ከጉድጓዴ ውሃ እየቀዳሁ።

አንድ ነገር ብቻ አስጨነቀኝ። እናቴ የተጨማደደውን በጣቷ እያገላበጠች «ይሄ የከሰመ ነው፣ አይበቅልም» አለች። እሷ ደግሞ ዘር ታውቃለች። ምን ላድርግ?

ጡረተኛው (ዘጌ መንገድ)፦

እናትሽ ለእኛ በቆሎ ቢሆን ልክ ናቸው። ይሄኛው ግን ተፈጥሮው ነው። አስር ፍሬ ቁጠሪና በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለሽ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጪ። ጨርቁ እንዳይደርቅ። ቀሪውን በደንብ አድርቀሽ ከአመድ ጋር ጠርሙስ ውስጥ ክተቺው፣ ነቀዝ እንዳይቀድምሽ።

የሽምብጧ፦

ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው። ጨርቁን የፈታችው እናቴ ናት። ከአስሩ ስምንቱ ጎንቁለዋል።