የልደት ምዝገባ ሲስተማችንን ለመንግሥት አገልግሎት የፈጠራ ሽልማት በዕጩነት ለማቅረብ ከየት እንጀምር?

ጥያቄ፦ የክብር መዝገብ ባለሙያ

ውድ አባላት፣ የምሠራው በአንድ የክልል ከተማ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ነው። ቀደም ሲል በጤና ጣቢያ የወለደች እናት የልደት ማሳወቂያ ወረቀቷን ይዛ ቀበሌ እስክትመጣ ድረስ የክብር መዝገብ ሹሙ ልደቱን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረም። ወረቀቱ ይጠፋ ነበር፣ ቤተሰቡም ይዘነጋው ነበር፤ በዚህም ምክንያት በአዋጅ ቁጥር 760/2004 የተደነገገው የ90 ቀን የምዝገባ ጊዜ ብዙ ጊዜ ያልፋል። አሁን አዋላጅ ነርሷ ማሳወቂያውን በታብሌት እንደሞላች መረጃው ለሚመለከተው ቀበሌ ይደርሳል፤ ቤተሰቡ ሳይመጣ የቀረ እንደሆነም ጊዜው ከማለፉ በፊት በስልክ የጽሑፍ ማስታወሻ ይላክለታል።

ኃላፊያችን ይህ ሥራ ለዓለም አቀፍ ሽልማት እንዲቀርብ ወስነው ማመልከቻውን እንዳዘጋጅ ለእኔ መርተውልኛል። የትኛው ሽልማት እንደሚስማማን፣ ማመልከቻው ውስጥ ምን መጻፍ እንዳለበትና ሲስተሙን የሠራልን የግል ድርጅት በራሱ ስም ላመልክት ማለቱ ተገቢ መሆኑን ብታስረዱኝ እወዳለሁ። በተጨማሪም «ተቋማችሁ ለሽልማት ተመርጧል፣ የመመዝገቢያና የእራት ግብዣ ክፍያ ላኩ» የሚል የኢሜይል መልእክት ደርሶናል፤ ለዚህ ምን ዓይነት መልስ ይሰጣል?

መልስ፦ የዕቅድና ክትትል ባለሙያ

ከመጨረሻው ልጀምር። ሳታመለክቱ «ተመርጣችኋል» የሚል መልእክት መልስ አያስፈልገውም። እኔ የማውቃቸው ቁም ነገር ያላቸው የመንግሥት አገልግሎት ሽልማቶች ለማመልከት ገንዘብ አይጠይቁም፤ ዋንጫ ለመግዛት ከሕዝብ በጀት የሚወጣ ብር ደግሞ ነገ በኦዲት ግኝት ላይ ይመጣል።

ለእናንተ ሥራ የሚቀርቡ ሁለት ሽልማቶች አሉ። የመጀመሪያው የተባበሩት መንግሥታት የሕዝብ አገልግሎት ሽልማት ሲሆን፣ የሚያስተናግደው የድርጅቱ የኢኮኖሚና ማኅበራዊ ጉዳዮች መምሪያ ነው። ሽልማቱ ከዓለም አቀፉ የሕዝብ አገልግሎት ቀን፣ ማለትም በየዓመቱ ሰኔ 16 ቀን ከሚከበረው በዓል ጋር የተያያዘ ነው። በዚህ ሽልማት የሚታየው ቴክኖሎጂው ለብቻው አይደለም፤ አገልግሎቱ ከዘላቂ ልማት ግቦች ጋር ያለው ትስስር፣ ለተገልጋዩ ያስገኘው ውጤት፣ ቀጣይነቱና ሌላ ቦታ ሊሰፋ መቻሉ ሁሉ ይመዘናል። ሥራው ማመልከቻው ከመቅረቡ በፊት በተግባር የቆየበት ዝቅተኛ ጊዜም ስለሚጠየቅ፣ የዓመቱን ማስታወቂያ ከፍታችሁ ሲስተሙ ሥራ ከጀመረበት ቀን ጋር ማመሳከር የመጀመሪያው ሥራችሁ ይሁን። ብዙ መሥሪያ ቤቶች በሙከራ ላይ ያለ ሥራ ይዘው ይሄዱና እዚያው በር ላይ ይቀራሉ።

ሁለተኛው የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የሚያዘጋጀው፣ በ2003 እ.ኤ.አ. በጄኔቫ ከተጀመረው የመረጃ ኅብረተሰብ የዓለም ጉባኤ የተወለደውና ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጠው ሽልማት ነው። በ18 ዘርፎች የሚሰጥ ሲሆን የእናንተ ሥራ በኤሌክትሮኒክ መንግሥት ወይም በኤሌክትሮኒክ ጤና ዘርፍ ሊገባ ይችላል። ምዝገባው የሚፈጸመው ቀበሌ ላይ ስለሆነ ከሁለቱ ዘርፎች እኔ የኤሌክትሮኒክ መንግሥቱን እመርጣለሁ። ይህ ሁለተኛው ሽልማት የሕዝብ ድምፅ የሚሰጥበት ዙር አለው፤ ስለዚህ ድምፅ የሚሰጡ ሰዎችን አስቀድማችሁ አሳውቁ፣ ነገር ግን ሠራተኛውን ሰብስቦ በትእዛዝ ድምፅ ማሰጠት የሚያስከትለውን ትዝብት አስቡበት።

በአህጉራችን ደረጃ ደግሞ መቀመጫው ናይሮቢ የሆነው የአፍሪካ የመንግሥት አስተዳደርና ሥራ አመራር ማኅበር ለፈጠራ ሥራ አመራር የሚሰጠው ሽልማት አለ። ለመጀመሪያ ሙከራ መጥፎ አይደለም።

መልስ፦ የጤና መረጃ ባለሙያ

ኃላፊዎ ከእርስዎ የሚጠብቁት ምናልባት የተለመደውን የምርጥ ተሞክሮ ቅመራ ሰነድ ይሆናል፤ መግቢያ፣ ዓላማ፣ የተሰጡ ሥልጠናዎች፣ የተገዙ ታብሌቶች ብዛት፣ ያጋጠሙ ችግሮችና የተወሰዱ መፍትሔዎች። ይህ ለክልሉ ቢሮ ይበቃል፤ ለዓለም አቀፍ ዳኛ ግን አይበቃም። ዳኛው ስንት ሰው እንደሠለጠነ ማወቅ አይፈልግም። የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ሲስተሙ ከመምጣቱ በፊት በ90 ቀን ውስጥ የሚመዘገበው ሕፃን ከሚወለደው ስንት እጅ ነበር፣ አሁንስ ስንት እጅ ሆነ?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማካፈያውን ሲመርጥ ነው። በ90 ቀን ውስጥ የተመዘገቡትን ለተመዘገቡት ጠቅላላ ብዛት ብታካፍሉ፣ ፈጽሞ ያልተመዘገቡት ሕፃናት ከስሌቱ ውጭ ሆነው ይቀሩና ቁጥሩ ከእውነቱ በላይ ያምራል። ማካፈያችሁ በከተማው ጤና ተቋማት የተመዘገበው በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት ብዛት ይሁን፤ ይህንንም ጤና ጣቢያዎቹ በየወሩ ለጤና መረጃ ሥርዓቱ ከሚልኩት ሪፖርት ታገኙታላችሁ። በቤት የተወለዱትን በተመለከተ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መዝገብ ካለ ለይታችሁ አቅርቡ፣ ከሌለ ግን ስሌቱ የተቋም ወሊድን ብቻ እንደሚመለከት በግልጽ ጻፉ። እንዲህ ዓይነቱን ገደብ ራሱ የገለጸ አመልካች ይበልጥ ይታመናል።

ሌላው ጥንቃቄ የዘገዩ ምዝገባዎችን ከወቅታዊዎቹ ጋር አለመቀላቀል ነው። ትምህርት ቤቶች የልደት ምስክር ወረቀት መጠየቅ ሲጀምሩ ስድስትና ሰባት ዓመት የሆናቸው ልጆች በብዛት ይመዘገባሉ፤ ይህ ጭማሪ የሲስተማችሁ ውጤት አይደለም። ቀኖቹንም በወር አትቁጠሩ፤ ሦስት ወር 90 ቀን የሚሆነው ጳጉሜን መሐል ሳትገባ ሲቀር ብቻ ነው።

በመግቢያው ላይ ብዙዎች የሚጠቅሱትን አንድ አኃዝም ላንሳ። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ብቻ እንደነበር አሳይቷል። ይሁንና የጥናቱ መረጃ የተሰበሰበው አገር አቀፉ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በዚያው ዓመት ኦገስት ወር ሥራ ከመጀመሩ በፊት ነው። ስለዚህ «ከ3 በመቶ ወደዚህ አደረስን» ብሎ መጻፍ በሌሎች የተሠራውን ሁሉ ለራስ መውሰድ ነው። አኃዙን የአገሪቱን መነሻ ለማሳየት ተጠቀሙበት፣ ለእናንተ መነሻ ግን የራሳችሁ መዝገብ ይሁን።

ሥራችሁ ከየትኛው የዘላቂ ልማት ግብ ጋር እንደሚያያዝ ስትጠየቁም አሥራ ሰባቱንም አትደርድሩ። ግብ 16.9 በ2030 እ.ኤ.አ. የልደት ምዝገባን ጨምሮ ለሁሉም ሰው ሕጋዊ ማንነት እንዲሰጥ የሚጠይቅ ስለሆነ፣ ከዚህ የበለጠ የሚገጥማችሁ የለም።

መልስ፦ የታዘበ ሰው

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ይህ ሁሉ ድካም ለአንድ ፎቶና ለአንድ የውጭ አገር ጉዞ ነው። ባለጉዳዩ ነገ ቀበሌ ሲሄድ «ሲስተም የለም» ይባላል። ይህን ጊዜ ለአገልግሎቱ ብታውሉት አይሻልም ወይ?

መልስ፦ የዕቅድና ክትትል ባለሙያ

ለወንድማችን ትዝብት ክብር አለኝ፤ ተሸልሞ በዓመቱ የተዘጋ ሥራ እኔም አውቃለሁ። ሆኖም የማመልከቻው ጥያቄዎች በደንብ ከተሠሩ ለጽሕፈት ቤቱ ነፃ ግምገማ ናቸው። «ኔትወርክ ሲቋረጥ አገልግሎቱ እንዴት ይቀጥላል?» ለሚለው የሚጻፍ መልስ ከሌለ፣ ያ ክፍተት ሽልማት ኖረም አልኖረም መሞላት አለበት። ጎረቤታችን ኬንያ በሁዱማ ማዕከላት ብዙ አገልግሎት በአንድ ጣሪያ ሥር ሰብስባ በ2015 እ.ኤ.አ. ይህንኑ የተባበሩት መንግሥታት ሽልማት ወስዳለች፤ ማዕከላቱም ከሽልማቱ በኋላ ሥራ ቀጥለዋል።

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ

የግል ድርጅቱን በተመለከተ፣ ለሕዝብ አገልግሎት በሚሰጥ ሽልማት ዕጩው አገልግሎቱን የሚሰጠው የመንግሥት ተቋም ነው፤ ድርጅቱ በአጋርነት ይጠቀሳል። ይህንን ከማመልከቻው በፊት በቃለ ጉባኤ አስፍራችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ውላችሁንም አውጥታችሁ እዩ፤ የሶፍትዌሩ ምንጭ ኮድና የዳታው ባለቤት ማን እንደሆነ ካልተጻፈ፣ ስለ ቀጣይነት የምትጽፉት ሁሉ መሠረት አይኖረውም። ጤና ጣቢያው፣ ከተማ አስተዳደሩና ክልሉ የየራሳቸው ድርሻ ስላላቸው የድጋፍ ደብዳቤ ከእያንዳንዳቸው ቀደም ብላችሁ ጠይቁ፤ ደብዳቤ በግልባጭ እየተመራ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዞር የሚፈጀውን ጊዜ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ማስረጃው ራሱ ነው። የሲስተሙን ስክሪንሹት ስታያይዙ የሕፃኑ ስም፣ የወላጆች ስም፣ ስልክ ቁጥርና አድራሻ አብሮ ሊወጣ ይችላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕግ ግዴታ ነው። ለማሳያ በፈጠራ ስም የተሞላ የሙከራ ገጽ አዘጋጁ። እናቶችን በቪዲዮ የምትቀርጹ ከሆነ ፈቃዳቸውን በጽሑፍ ውሰዱ፤ ቀረጻው በውጭ አገር ድረ ገጽ ላይ ሊወጣ እንደሚችልም በግልጽ ንገሯቸው። ወረፋ ላይ ያለች ባለጉዳይ «እሺ» ማለቷ ነፃ ፈቃድ ለመሆኑ እጠራጠራለሁ፤ ስለዚህ ጉዳይዋ ካለቀ በኋላ ጠይቋት።

መልስ፦ የጄኔቫ ነዋሪ

እዚህ ሆኜ ከአገር ቤት የሚላኩ ማመልከቻዎችን በማረም ጥቂት ረድቻለሁ፤ በተደጋጋሚ ያየሁት ችግር የቀን አቆጣጠር ነው። «በ2016 በጀት ዓመት» ተብሎ እንዳለ ሲተረጎም አንባቢው 2016 እ.ኤ.አ. አድርጎ ይረዳዋል። የእኛ የ2016 በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 ቀን 2015 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ያለው ጊዜ ሲሆን፣ በእነርሱ አቆጣጠር ከጁላይ 8 ቀን 2023 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2024 ነው። ሠንጠረዦቹን ሁሉ ወደ አንድ አቆጣጠር አምጡ። የማመልከቻው መዝጊያ ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ በጄኔቫ እኩለ ሌሊት ማለት በክረምታቸው ወራት በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፣ በኒው ዮርክ ከሆነ ደግሞ በማግስቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይሆናል፤ በበጋቸው ሁለቱም በአንድ ሰዓት ቀደም ይላሉ። እኔ ግን ከሁለት ቀን በፊት ልካችሁ ብትጨርሱ እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም በመጨረሻው ሰዓት የሚጫን ፋይል አብዛኛውን ጊዜ ይንጠለጠላል።

ጽሑፉን በመጀመሪያ በአማርኛ ጨርሱት። በእንግሊዝኛ የሚጀመር ማመልከቻ «ዘርፈ ብዙ»፣ «ሁሉን አቀፍ» እያለ በባዶ ቃላት ይሞላል፤ በአማርኛ ሲጻፍ ግን አዋላጅ ነርሷ ምን እንደምትሠራ፣ ሹሙ ምን እንደሚያይ በግልጽ ይወጣል። ቀበሌ፣ ጤና ጣቢያና የክብር መዝገብ ሹም ምን እንደሆኑ በየቦታቸው በአንድ ሐረግ አስረዱ፤ ዳኛው ስለ አገራችን የአስተዳደር እርከን የሚያውቀው ነገር ላይኖር ይችላል።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ የክብር መዝገብ ባለሙያ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለኢሜይሉ መልስ ላለመስጠት ተስማምተናል፤ ከድርጅቱ ጋርም ቃለ ጉባኤ እያዘጋጀን ነው። የቀረኝ ጭንቀት መነሻ መረጃው ነው። ሲስተሙ ከመጀመሩ በፊት የነበረው ሁሉ በወረቀት መዝገብ ላይ ያለ ሲሆን፣ የዚያን ጊዜ ሪፖርቶች ጠቅላላ ድምር እንጂ በ90 ቀን ውስጥ የተመዘገበውን ለይተው አያሳዩም። ያለ መነሻ መረጃ ማመልከት ይቻላል?

መልስ፦ የጤና መረጃ ባለሙያ

መነሻ መረጃውማ እጃችሁ ላይ አለ። በወረቀቱ መዝገብ እያንዳንዱ ገጽ ላይ የልደቱ ቀንና የምዝገባው ቀን ሁለቱም ተጽፈዋል፤ ልዩነታቸውን ማስላት ብቻ ነው የቀረው። ሲስተሙ ከመጀመሩ በፊት ያለውን አንድ ሙሉ ዓመት ውሰዱ፤ ከዓመቱ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ብቻ አትምረጡ፣ የምዝገባው ብዛት በየወቅቱ ይለያያልና። መዝገቦቹ ጥቂት ከሆኑ ሁሉንም ቁጠሩ፤ ብዙ ከሆኑ በሁሉም ቀበሌዎች እኩል ደንብ እየተከተላችሁ፣ እንበል በየአሥረኛው ገጽ ላይ ያለውን እየወሰዳችሁ ናሙና ሰብስቡ። በዚያ ዓመት ከተወለዱት ውስጥ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ላይ የተመዘገቡ ስለሚኖሩ የተከታዩን መዝገብ የመጀመሪያ ሦስት ወራትም አትዝለሉ። ቆጠራውን ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይሥሩትና ውጤታቸው ይመሳከር።

ሲስተሙ በሁሉም ቀበሌ በአንድ ቀን ካልተጀመረ ደግሞ የተሻለ ዕድል አላችሁ። ዘግይተው የጀመሩትን ቀበሌዎች ቀድመው ከጀመሩት ጋር በዚያው ወቅት አነጻጽሩ፤ ለውጡ በጀመሩት ላይ ብቻ ከታየ፣ በሌላ ምክንያት የመጣ ነው የሚል ጥያቄ ቢነሳ የምትመልሱበት ይኖራችኋል። ውጤቱን ለወንድና ለሴት ሕፃናት ለይታችሁ ማቅረብንም አትርሱ፤ መዝገቡ ላይ ጾታ ስላለ ተጨማሪ ድካም አይጠይቅም።