የሙሽራ ፊት ላይ ብጉር ሳጠፋ ህትመቱ ይበላሻል፣ ምን ላድርግ?

ሐይቅ ዳር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ኤዲተር ነኝ። የሰርግ ፎቶ ኤዲት አድርጌ፣ አልበሙን አቀናብሬ አዲስ አበባ ላለ ማተሚያ ቤት የምልከው እኔ ነኝ። አሁን የያዝኩት የአንዲት ሙሽራ ሥራ አስጨንቆኛል። ሰርጉ ሊደርስ ሲል ፊቷ ላይ ብጉር ወጣባት። ሜካፑ ቀለሙን ሸፍኖታል፣ እብጠቱን ግን አልሸፈነውም። የቪዲዮው መብራት ደግሞ ከጎን ስለነበር እያንዳንዱ ብጉር ጥላ ሠርቷል። «አጥፊልኝ፣ ግን እኔን ልምሰል» ነው ያለችኝ።

ኮምፒውተር ላይ ሳየው ቆንጆ ነው። የሙከራ ህትመቱ ሲመጣ ግን ጉንጯ ላይ የነካሁት ቦታ ሁሉ ሰም የተቀባ ይመስላል። አጠገቡ ያለው ቆዳ ደህና ስለሆነ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከኋላዋ ያለው የሆቴሉ ግድግዳ ላይ ቀለሙ ደረጃ ደረጃ ሠርቷል። ፎቶው በጠቅላላው ስክሪን ላይ ካየሁት ጠቁሯል።

ካሜራው 24 ሜጋፒክስል ነው። ፎቶግራፈሩ ሮውም (ካሜራው ያነሳው ያልተነካ ጥሬ ፋይል) ጄፔግም (ታምቆ የሚቀመጠው የተለመደው የፎቶ ፋይል) ይሰጠኛል፣ የምሠራው ግን ስለሚፈጥን በጄፔጉ ነው። በፎቶሾፕ ስፖት ሂሊንግ (ነጠብጣብ በአካባቢው ቆዳ የሚተካ ብሩሽ) ብጉሩን አነሳለሁ፣ ሴቭ አደርጋለሁ፣ በማግስቱ ከፍቼ ቀለሙን አስተካክልና እንደገና ሴቭ፣ መጨረሻ ላይ ቆዳ በሚያለሰልስ ፕለጊን አሳልፈዋለሁ። አልበሙ 30 በ45 ሳንቲ ነው። ለሳሎን የሚሰቀል 60 በ90 ፎቶም አለ። የቱ ጋ ነው የሚበላሸው? ልምድ ያላችሁ ንገሩኝ፣ ልጅቷን ማሳዘን አልፈልግም።

ሮው ብቻ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ፋይሉን እናስተካክል፣ ብሩሹ ቀጥሎ ይመጣል።

ጄፔግ ሴቭ በተደረገ ቁጥር ምስሉን 8 በ8 ፒክስል ወደሆኑ ትንንሽ ካሬዎች ይከፍልና ዓይን አያስተውለውም ብሎ የገመተውን ዝርዝር ይጥላል። የሚጥለው ደግሞ በአብዛኛው እንደ ቆዳ ቀዳዳና እንደ ፀጉር ጫፍ ያለውን ረቂቅ ነገር ነው። ከፍተሽ ሴቭ፣ ከፍተሽ ሴቭ ስትይ ጉዳቱ ይደራረባል። ስክሪን ላይ ፎቶውን አሳንሰሽ ስለምታዪው አይታወቅሽም፣ 30 በ45 ሲወጣ ግን ይታያል። የግድግዳው ደረጃ የመጣውም ከዚሁ መንገድ ነው። ጄፔግ ባለ 8 ቢት ነው፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ነው ያለው። ከላዩ ላይ ከርቭና (የብርሃን ማስተካከያ) ኮንትራስት ሲጨመርበት በደረጃዎቹ መካከል ክፍተት ይፈጠራል። እንደ ግድግዳ ያለ ቀስ እያለ የሚለዋወጥ ቀለም ላይ መስመር ሆኖ የሚታይሽ ያ ክፍተት ነው።

ስለዚህ ከሮው ጀምሪ። ብርሃኑንና ነጭ ሚዛኑን እዚያው ሮው ላይ ጨርሺ። ከዚያ በ16 ቢት፣ ማለትም እጅግ ብዙ የቀለም ደረጃ ባለው፣ ወደ ፎቶሾፕ አውጪውና ፒኤስዲ ወይም ቲፍ አድርገሽ ያዢው። እነዚህን መቶ ጊዜ ሴቭ ብታደርጊያቸውም ምንም አይጎድልባቸውም። ጄፔግ የምታወጪው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ፣ ለማተሚያ ቤቱ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በከፍተኛው ጥራት ነው።

ሪታች ስታደርጊ (ፊቱን ስታስተካክዪ) ዋናውን ሌየር (የምስሉን ንብርብር) አትንኪው። አዲስ ባዶ ሌየር ክፈቺ፣ ሂሊንግ ብራሹን ከሥር ካለው ሌየርም እንዲወስድ «ከረንት ኤንድ ቢሎው» ላይ አድርጊና እዚያ ባዶው ላይ ሥሪ። ከበዛብሽ የሌየሩን ኦፓሲቲ (ድፍንነት) ትቀንሻለሽ፣ የተበላሸውን ብቻ በኢሬዘር ታጠፊያለሽ፣ ከሥር ያለው ፊቷ እንዳለ ነው። ፎቶሾፕ የሌላችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ ጊምፕ ነጻ ነው፣ የሂል መሣሪያ አለው፣ ከ2.10 ጀምሮ ባለ 16 ቢት ፋይልም ይሠራል።

አንድ ነገር ልጨምር። ፎቶግራፈሩ ፋይሉን በቴሌግራም ከላከልሽ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክልሽ። እንደ ፎቶ ሲላክ ቴሌግራም ያሳንሰዋል፣ የተለመደው መጠን ረጅሙ ጎን 1280 ፒክስል ነው። ያንን 45 ሳንቲ ላይ ስትዘረጊው በአንድ ኢንች 72 ፒክስል አካባቢ ይደርስሻል፣ ለአልበም የሚፈለገው 300 ነው። በየትኛውም ኤዲት አይመለስም።

ጥለት (ቨርጂኒያ)፦

«ሮው ብቻ» ስለ ፋይሉ ያለው ሁሉ ልክ ነው። ሰም የሚያስመስለው ግን በዋናነት የብሩሹ አያያዝና ያ ፕለጊን ነው። ፕለጊኑን ዛሬውኑ ተይው። ደህናውንም የታመመውንም ቆዳ አንድ ላይ ነው የሚያደበዝዘው፣ የኛን የቡናማ ቆዳ ብርሃን ደግሞ አመድ ያስመስለዋል።

ብሩሹ ላይ ብዙ ሰው ጠርዙን ያለሰልሳል። ሂሊንግ ብራሽ ግን ከአካባቢው ጋር ራሱ ነው የሚያዋህደው፣ ስለዚህ ጠርዙ ለስላሳ ሲሆን ዙሪያውን ያለው የቆዳ ቀዳዳ ይደበዝዛል። ሃርድነሱን (የጠርዙን ጥንካሬ) ወደ 90 አካባቢ አድርጊው። መጠኑ ከብጉሩ ጥቂት ብቻ ይብለጥ። ጠቅ አድርጊ እንጂ አትጎትቺ። ስፖት ሂሊንግ ከየት እንደሚወስድ ራሱ ስለሚመርጥ ለትንሽ ነጠብጣብ እንጂ ለጉንጭ አልመርጠውም። በተለመደው ሂሊንግ ብራሽ አንቺው ምረጪለት፣ የጉንጩን ከጉንጩ፣ የግንባሩን ከግንባሩ፣ ብርሃኑ በመጣበት በኩል ካለው ቆዳ። የአፍንጫ አካባቢ ቀዳዳ ሰፊ ነው፣ የዓይን ሥር ደግሞ የለም ማለት ይቻላል፣ አንዱን ወስደሽ ሌላው ላይ ብትለጥፊ ህትመት ላይ ያሳብቃል። ቅንድብ፣ ከንፈር ወይም ሹሩባ አጠገብ ሲሆን ሂሊንጉ ጥቁሩን ቀለም ስቦ ያጨማልቃል፣ እዚያ ጋ ሳያዋህድ እንዳለ በሚገለብጠው በክሎን ስታምፕ ሥሪ።

አሁን ዋናው ነገር። እኛ ላይ ብጉር ሲድን ጥቁር ምልክት ይተዋል። ያ ምልክት ብጉር አይደለም። ቆዳው ሜዳ ነው፣ ቀዳዳውም አለ፣ የጠቆረው ቀለሙ ብቻ ነው። ማድያትም እንደዚያው ነው። ይህን በሂሊንግ ስታጠፊው ጤነኛ ቆዳ እያጠፋሽ ነው፣ ሰም የሚመስልሽም ለዚህ ይመስለኛል። ለሱ የከርቭ ሌየር ክፈቺ፣ ትንሽ አብሪው፣ ማስኩን (የሌየሩን መሸፈኛ) ጥቁር አድርጊና በነጭ ብሩሽ፣ ፍሎው (የቀለሙን አፈሳሰስ) 5 በመቶ ላይ አድርገሽ፣ ቀስ እያልሽ ምልክቱ ላይ ብቻ አንጪው። ሲነጣ ከአጠገቡ ካለው ቆዳ ጋር እኩል ይሆናል፣ ቀዳዳው እንዳለ ይቀራል። ያበጠውን ብጉር በሂሊንግ፣ የጠቆረውን በከርቭ። ሁለቱን መለየት ከቻልሽ ግማሹ ሥራ አልቋል።

የላብና የቅባት ማብረቅረቅ ካለ ደግሞ ሌላ ባዶ ሌየር ላይ ክሎን ስታምፑን «ዳርከን» (የበራውን ብቻ የሚያጠቁረው) ላይ አድርጊ፣ ኦፓሲቲው 15 አካባቢ፣ ከአጠገቡ ካለው ቆዳ ወስደሽ ነካ ነካ አድርጊው። ሙሉ በሙሉ አታጥፊው። ግንባርና የአፍንጫ ጫፍ ላይ ብርሃን ከሌለ ፊቱ ጠፍጣፋ ይሆናል።

ስትሠሪ ዙሙ 100 በመቶ ላይ ይሁን። 300 ላይ ሆኖ የሚሠራ ሰው ማንም የማያየውን ነገር ሲያጠፋ ውሎ ፊቱን ያበላሻል።

ፈጣን ኤዲት፦

ሁሉም ልክ ነው ግን 600 ፎቶ ላይ ማን ነው እንደዚህ የሚሠራው? ፍሪኩዌንሲ ሴፓሬሽን የሚባል አክሽን (ተመዝግቦ በአንድ ጠቅታ የሚሠራ ትእዛዝ) አለ፣ አንዴ ጫን ስታደርጊው ቀለሙን ለብቻ ቀዳዳውን ለብቻ ይከፍልልሻል፣ ከታች ያለውን የቀለሙን ሌየር ብለር ማድረግ (ማደብዘዝ) ነው። እኔ ሰርግ ሁሉ በሱ ነው የማስረክበው፣ ደንበኛ ቅር ብሎት አያውቅም።

ጥለት (ቨርጂኒያ)፦

ወንድሜ፣ ዘዴው መጥፎ አይደለም፣ እኔም ለአንድ ለሁለት ፎቶ እጠቀምበታለሁ። ችግሩ የታችኛውን ሌየር በሰፊው ብለር ስታደርገው የጉንጭና የአገጭ ጥላም አብሮ ይሄዳል። ቀዳዳ ያለው ግን ቅርጽ የሌለው ፊት ነው የሚተርፍህ። ሙሽራዋ «እኔን ልምሰል» ብላለች፣ የምትመስለው በአጥንቷ ነው። ሐይቅ ዳር፣ አንቺም በሱ የምትሠሪ ከሆነ የጠቆረው ምልክት ላይ ብቻ፣ በላሶ (በመምረጫው መሣሪያ) ከበሽ፣ ጥቂት ብለር።

ሐይቅ ዳር፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀለምና እብጠት መለየት የሚለው ገብቶኛል፣ አንድ ፎቶ ላይ ሞክሬው ልዩነቱን አየሁት። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ኮምፒውተሬ 8 ጊጋ ራም ነው ያለው፣ በ16 ቢት ስከፍት ይንተፋተፋል። ሌላው፣ የሙሽራው እናት ከጎንደር ናቸው፣ አንገታቸው ላይ ንቅሳት አለ። ልጃቸው «አጥፊው» አለኝ፣ እሳቸው ግን ምንም አላሉም። ሙሽራው ራሱም ቅንድቡ ላይ የቆየ ጠባሳ አለው።

ሮው ብቻ፦

የ24 ሜጋፒክስል ፎቶ በ16 ቢት ሲከፈት ገና ሌየር ሳይጨመርበት 144 ሜጋባይት አካባቢ ነው፣ በ8 ቢት ግማሹ። አንድ ፎቶ ብቻ ክፈቺ፣ ብሮውዘሩን ዝጊ፣ ይሄዳል። ደግሞ 600ውን አትሥሪም። አልበም ውስጥ የሚገቡት ስንት ናቸው? ከነሱም ፊት በቅርበት የሚታይባቸውን ብቻ ነው ወደ ፎቶሾፕ የምታወጪው። መልስ ላይ ከሩቅ የተነሳ የቡድን ፎቶ ላይ ብጉር አይታይም። ቀሪውን እዚያው ሮው በሚከፈትበት ፕሮግራም፣ ላይትሩም ውስጥ ባለው ሂል ጨርሺው፣ ሮውን አይነካም፣ ፋይልም አያበዛም። የሴንሰር አቧራ ሰማይ ላይ ካለብሽ አንዱ ላይ አጥፊና ለሌሎቹ ሲንክ አድርጊው (ያንኑ ማስተካከያ ገልብጪላቸው)፣ አቧራው ቦታ ስለማይቀይር ይሠራል። ፊት ላይ ግን ሲንክ አይሆንም።

ጥለት (ቨርጂኒያ)፦

የእናትየውን ንቅሳት አትንኪ። የሳቸው አንገት ነው፣ ሊወስኑ የሚችሉት እሳቸው ናቸው። በልጅነታቸው የተነቀሱት ጌጣቸው ነው፣ የልጅ ልጅ አልበሙን ሲገልጥ አያቱን ያለ ንቅሳት ቢያያት ሌላ ሴት ናት። ልጁ አጥብቆ ከጠየቀሽ «እማማ ይበሉኝና አጠፋዋለሁ» በይው። እኔ ማርያም የሳመቻትን ምልክትም፣ ጠባሳንም፣ በጥርስ መሀል ያለ ፍንጭትንም ባለቤቱ ካልጠየቀኝ አልነካም። ብጉር፣ የሂና ፍንጣቂ፣ የተላጨ ቦታ መቆጣት፣ በሁለት ሳምንት የሚጠፋውን ሁሉ ግን ሳልጠየቅም አነሳለሁ። የሙሽራውን ጠባሳ ራሱን ጠይቂው፣ ስልክ ደውለሽ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

የህትመት ሰው፦

ልጆች፣ ብዙ ዓመት ማሽን ላይ የሠራሁ ነኝ፣ ስለ መጥቆሩ ማንም አልመለሰላትም።

ልጄ፣ ስክሪንሽ በጣም ደማቅ ነው። ላፕቶፕ ሙሉ ብርሃን ላይ ሆኖ የተሠራ ፎቶ ወረቀት ላይ ሁልጊዜ ይጠቁራል፣ ወረቀት የራሱ ብርሃን የለውም። ብርሃኑን ወደ ግማሽ አውርጂው፣ ክፍሉም በጣም ጨለማ አይሁን። መለኪያ መሣሪያ ከሌለሽ የሙሽራዋን ፊት በአንድ ገጽ ላይ አራት አምስት ጊዜ ደርድሪ፣ እያንዳንዱን ትንሽ ትንሽ እያበራሽ፣ እያንዳንዱ ሥር መጠኑን ጻፊ፣ ያንን አንድ ገጽ አሳትሚ። የትኛው እንደሚስማማ በዓይንሽ ታዪዋለሽ፣ ከዚያ ማሽን ጋር ሁልጊዜ ያንኑ ትጠቀሚያለሽ።

ማተሚያ ቤቱ አውቶማቲክ ማስተካከያውን እንዲዘጋ ንገሪያቸው። ቬሎ የለበሰች ሙሽራ ፎቶው ላይ ነጩ ስለሚበዛ ማሽኑ «በዝቷል» ብሎ ሊያጠቁረው ይችላል። የሚጎዳው ፊቷ ነው። የሀበሻ ቀሚስና ነጠላ ላይም ያው ነው። ቀለሙን ኤስአርጂቢ (የተለመደው የቀለም ክልል) አድርጊው፣ ፕሮፋይሉ (ቀለሙ እንዴት እንደሚነበብ የሚነግረው መረጃ) ፋይሉ ውስጥ ይግባ። አዶቤ አርጂቢ (ሰፋ ያለው የቀለም ክልል) ሆኖ መጥቶ ማሽኑ ፕሮፋይሉን ካላነበበ የጥለቱ ቀይና አረንጓዴ ይደበዝዛል። ካልጠየቁሽ ወደ ሲኤምዋይኬ (የማተሚያ ቀለሞች አሠራር) አትቀይሪ። ሻርፕ የምታደርጊው መጨረሻ ላይ፣ መጠኑን ከወሰንሽ በኋላ ነው፣ ለአልበሙ ለብቻ ለትልቁ ለብቻ።

ሐይቅ ዳር፦

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ። ብርሃኑን እርስዎ እንዳሉት አውርጄ ባየው ፊቷ እውነትም ጠቁሯል። 60 በ90ውስ? ፒክስሉ ይበቃል?

የህትመት ሰው፦

የናንተ ካሜራ 4000 በ6000 ነው። 30 በ45 ላይ በኢንች 339 ፒክስል አካባቢ ይሰጥሻል፣ ከበቂ በላይ። 60 በ90 ላይ ግማሹ፣ 169 ገደማ። ሳሎን ውስጥ ከሁለት ሜትር ለሚታይ ፎቶ ይበቃል፣ ግን ከተቆረጠ አይበቃም። ስለዚህ ለሳሎን የምትመርጡት ሙሉ ፍሬም ይሁን፣ አንድ ሰው ብቻ ለማስቀረት ክሮፕ የተደረገ አይሁን። ወረቀቱን ማት አድርጊው፣ አንጸባራቂው የሪታች ምልክት ሁሉ ከመስኮቱ ብርሃን ጋር ያጎላዋል። ግድግዳው ላይ ያ ደረጃ ከሮው ከጀመርሽም በኋላ ካልለቀቀ ጥቂት ኖይዝ (ረቂቅ ነጠብጣብ) ጨምሪበት፣ 1 ወይም 2 በመቶ፣ ይሰበራል። ትልቁን ከማዘዝሽ በፊት ፊቷን ብቻ በሙሉ መጠኑ ቆርጠሽ ኤ4 ላይ አሳትሚው፣ በግድግዳ ላይ ለጥፊና ራቅ ብለሽ እዪው። ሙሽራዋንም ጥሪያት።