ቆቃ ላይ ለማጥመድ ምን ምን ልግዛ?

የገላኑ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከገላን እየተነሳሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ቆቃ ላይ፣ ከዳርም ከጀልባም ላጠምድ አስቤያለሁ። የምፈልገው ቆሮሶና አምባዛ ነው። አንድ ዘንግ ለሁለቱም ይበቃል? ላይፍ ጃኬትስ የግድ ነው?

ባለመንጠቆ፦ ዘንጉ ይበቃል፣ ክሩ ግን አይበቃም። 2.4 ሜትር አካባቢ የሆነ፣ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ዘንግ ያዝ። ለሪሉ (ክር መጠቅለያው) ሁለት ስፑል፣ ማለትም ክሩ የሚጠመጠምበት ቀለበት፣ ይኑርህ፤ አንዱ ላይ 0.25 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ክር ለቆሮሶ፣ ሌላው ላይ 0.40 ለአምባዛ። የቆሮሶ አፍ ትንሽ ስለሆነ መንጠቆው 8 ወይም 10 ቁጥር ይሁን፣ ለአምባዛ 2/0። ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል፣ እንደ 2/0 በ«/0» የሚጻፈው ግን በተቃራኒው ነው፤ ሻጮቹም ያምታቱታል። ቋጠሮውን ከማጥበቅህ በፊት በምራቅ አርጥበው። ደረቅ ናይሎን ሲፋተግ ስለሚግል ትልቅ ዓሣ ሲይዝ እዚያው ይበጠሳል።

ውሃ ዳር፦ ጃኬቱ የግድ ነው ወንድሜ፣ ዋና ብትችልም። 50 ኒውተን (የማንሳፈፍ ኃይሉ መለኪያ ነው) የሚለው ለዋናተኛ ነው፣ አንተ 100 ግዛ። ዘግተኸው ሰው ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳብልህ፤ ከአገጭህ ካለፈ ሰፍቶሃል። ከሰዓት ነፋስ ስለሚነሳ ጀልባውን ጠዋት ጨርስ። ቆቃ አዞም ጉማሬም አለ፤ ከዳር ስታጠምድ ውሃ ውስጥ አትግባ። ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ስለሚወጣ በእሱና በውሃው መሀል እንዳትገኝ።

ባለመንጠቆ፦ ረጅም አፍ ያለው ፒንሳም ጨምር። የአምባዛ የጎን ክንፍ እሾህ አለው፣ በባዶ እጅ መንጠቆ ስትነቅል ይወጋሃል።