ታኮማ ወይስ ኤፍ-150? ለሴራሚክ ሥራም ለቤተሰብም የሚሆን ፒክአፕ ጠቁሙኝ

ባለሴራሚኩ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ሥራዬ መታጠቢያ ቤትና ወጥ ቤት ሴራሚክ ማንጠፍ ነው። የምጭነው የሴራሚክ ካርቶን፣ ባለ 50 ፓውንድ የማጣበቂያ ከረጢት፣ መቁረጫ ማሽንና መሣሪያ ነው። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ልጆች ስለሚሳፈሩበት ባለ አራት በር መሆን አለበት። ያገለገለ ሆኖ በጀቴ እስከ 38 ሺህ ዶላር ነው። የቶዮታ ታኮማ ደብል ካብ ይሻለኛል ወይስ የፎርድ ኤፍ-150 ሱፐርክሩ? የማቆመው አፓርታማው ሥር ባለው ጋራዥ ነው። ከመግዛቴ በፊት የት እንደማስመረምረውም ጠቁሙኝ።

ቶዮታ ብቻ፦ ታኮማ ነዋ! ዘይቱን በጊዜው ቀይር፣ ሌላ አያስቸግርህም። ስትሸጠውም ዋጋው አይወርድም።

የጭነት ሂሳብ፦ መጀመሪያ ስሙን እርሳውና የሾፌሩን በር ክፈት። በበሩ ምሰሶ ላይ የጎማ ንፋስ የሚገልጽ ስቲከር አለ። እዚያ ላይ የሰውና የዕቃው ድምር ክብደት ከስንት ፓውንድ መብለጥ እንደሌለበት ተጽፏል። ቁጥሩ የዚያች መኪና ብቻ ነው። ማስታወቂያ ላይ የምታየው ትልቁ ቁጥር በጣም ቀላል ለሆነው ዓይነት ነው፤ ፎር ዊል፣ የመስታወት ጣሪያና ትልቅ ጋቢና ሲጨመርበት ይቀንሳል።

አሁን የአንተን ጭነት እናስላ። ፖርሲሊን ሴራሚክ በካሬ ጫማ ከ4 እስከ 5 ፓውንድ ይመዝናል። 250 ካሬ ጫማ ከ1,000 እስከ 1,250 ፓውንድ ማለት ነው። አምስት ከረጢት ማጣበቂያ 250፣ ማሽንና መሣሪያ 200፣ አንተና ረዳትህ 350 ገደማ። ድምሩ ከ1,800 እስከ 2,050 ይደርሳል። ፎር ዊል ታኮማ ደብል ካብ ስቲከሩ ላይ ብዙውን ጊዜ ከ1,100 እስከ 1,400 ነው የሚለው። ባለ አራት በር ኤፍ-150 ከ1,400 እስከ 1,900 አካባቢ ነው። ስለዚህ በአንድ ጉዞ ሁሉንም ልጫን ካልክ ትልቁም ላይበቃህ ይችላል።

ሲበዛበት ምን ይሆናል? ኋላው ይሰምጣል፣ የፊት ጎማ ይቀለዋል፣ መሪው ይላላል፣ ፍሬን ለመያዝ ይዘገያል፣ ጎማ ይግላል። ባሌስትራ ማስጨመር ወይም የአየር ከረጢት ማስገባት ኋላውን ቀጥ ያደርገዋል እንጂ የስቲከሩን ቁጥር አይጨምርም። ፍሬኑም፣ አክስሉም፣ ጎማውም ያው የበፊቱ ነው።

የተቀባ ዝገት፦ ሁላችሁም ስለ ጭነት ታወራላችሁ፣ እኔ ግን ዝገቱን እዩ እላለሁ። እዚሁ አካባቢ ካለ ያገለገለ መኪና ሻጭ መካከለኛ ፒክአፕ ገዛሁ። ስሙን አልጠራም። ሥሩ ጥቁር በጥቁር ተቀብቶ አዲስ ይመስል ነበር። ዘይት ሊቀየር ሲነሳ መካኒኩ በመዶሻ ነካ ሲያደርገው የባሌስትራው ማንጠልጠያ አጠገብ ሻንሲው ተበሳ። ሻጩ «ባለበት ሁኔታ ነው የሸጥኩልህ» ብሎ ዘጋብኝ።

ሜሪላንዷ፦ ውይ! ሻንሲ መበየድ ይቻላል ወይስ መኪናው አለቀለት?

ባለጋራዥ፦ ቦታው ይወስነዋል። ባሌስትራና መሪ የሚታሰሩበት አካባቢ ከሆነ ብረት ለጥፎ መበየድ አያዋጣም፤ የበሰበሰ ብረት ብየዳ አይዝም፣ ከጎኑ እንደገና ይሰነጠቃል።

ከመግዛት በፊት እንዲህ አድርጉ። መብራትና ትንሽ መዶሻ ይዛችሁ ሥሩ ግቡ። ሦስት ቦታ ምቱ፦ ከጋቢናው ኋላ፣ የባሌስትራው የፊት ማንጠልጠያ ዙሪያ፣ ትርፍ ጎማው ከሚንጠለጠልበት በላይ። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ካርቶን የመታችሁ ያህል ይታፈናል። ከዚያ በሻንሲው ጎን ባሉት ቀዳዳዎች መብራት አስገብታችሁ ውስጡን እዩ፤ ዝገቱ እንደ ቅርፊት ተደራርቦ የሚወርድ ከሆነ ተዉት። ጥቁሩ ቀለም በቡሎን፣ በፍሬን ቱቦና በሽቦ ላይ ሳይቀር ከተረጨ ሊሸጥ ሲል የተደረገ ነው። የመኪናውንም ታሪክ አውጡ። ኒውዮርክና ፔንስልቬንያ የከረመ ብዙ የመንገድ ጨው ጠጥቷል።

ቶዮታ ብቻ፦ ይኼ የአንድ ሻጭ ተንኮል ነው። ቶዮታ አይዝግም።

ባለጋራዥ፦ ወንድሜ፣ እሱን እንኳ ተወው። ከ2005 እስከ 2010 የተሠሩ ታኮማዎች፣ ከ2007 እስከ 2008 የተሠሩ ቱንድራዎችና ከ2005 እስከ 2008 የተሠሩ ሴኮያዎች በሻንሲ ዝገት የጋራ ክስ ቀርቦባቸው፣ ኩባንያው እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ሊያስወጣው በሚችል ስምምነት ነው የጨረሰው። የብዙ ሰው ሻንሲ ተቀይሯል። የአሁኖቹ ይሻላሉ፤ ቢሆንም መዶሻው ይቅደም። ኤፍ-150ም ከ2015 ጀምሮ ቦዲው አሉሚኒየም ሆነ እንጂ ሻንሲው ብረት ነው፤ «ፎርድ አሉሚኒየም ነው፣ አይዝግም» የሚለውም ልክ አይደለም።

ቶዮታ ብቻ፦ አሁንም ታኮማ ነው የምለው።

አርሊንግተን፦ ሰውየው ሴራሚኩን ተሸክሞ መልስ ይጠብቃል፣ እናንተ ገና የ2005ን ዝገት እየፋቃችሁ ነው። ጥያቄው የትኛውን ልግዛ ነበር!

የጋራዡን ነገር ማንም አላነሳም። ባለ 5.5 ጫማ ካሶኒ ኤፍ-150 ሱፐርክሩ ርዝመቱ 232 ኢንች ገደማ ነው፤ 19 ጫማ ከ4 ኢንች። ብዙ የመኪና ማቆሚያ 18 ጫማ ስለሆነ አፍንጫው መንገድ ላይ ያድራል። ታኮማ ደብል ካብ ባጭሩ ካሶኒ 213 ኢንች ነው፣ ይገባል። የፎር ዊል ኤፍ-150 ቁመት 77 ኢንች አካባቢ ነው። መግቢያው ላይ 6 ጫማ ከ6 ኢንች የሚል ከተጻፈ የሚቀርህ 1 ኢንች ብቻ ነው፤ መሰላል መጫኛ ካሰርክበት ጭራሽ አይገባም። ሜትር ይዘህ ውረድና ለካ፤ ጣሪያው ሥር የሚያልፈውን የውሃ ቱቦ እንዳትረሳ። ደግሞ ቨርጂኒያ በየዓመቱ በመኪናው ዋጋ ልክ ግብር ትከፍላለህ፤ ውድ በገዛህ ቁጥር እሱም ይጨምራል።

የዴንቨሩ፦ እዚህ በረዶው ከባድ ስለሆነ ሁለቱንም ትቼ ሆንዳ ሪጅላይን እመክራለሁ። እንደ ቤት መኪና ነው የሚነዳው፣ ልጆች ይመቻቸዋል። በካሶኒው ውስጥ በጎማ ሽፋኖቹ መሀል 50 ኢንች ስላለው ባለ 4 ጫማ ድራይዎል (የግድግዳ ጂፕሰም ቦርድ) ተኝቶ ይገባል፤ ታኮማ ላይ ግን ሽፋኖቹ ላይ መጫን አለበት።

የጭነት ሂሳብ፦ የሚጭነው ሴራሚክ ነው፣ ድራይዎል አይደለም። ሴራሚክ ስፋት አይፈልግም፣ ክብደት ነው። ሪጅላይን የሚጎትተው ቢበዛ 5,000 ፓውንድ መሆኑንም አስታውስ።

ከሐዋሳ፦ ይቅርታ፣ ከርዕሱ ወጣሁ። ታኮማውን ገዝቶ አዲስ አበባ መላክ ይቻላል?

አርሊንግተን፦ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት ተከልክሏል። የፒክአፕ አመዳደብ ሌላ ሊሆን ስለሚችል መርከብ ላይ ሳይጫን በፊት ጉምሩክን በጽሑፍ ጠይቅ።

ባለሴራሚኩ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ የ2021 ታኮማ አየሁ፤ ስቲከሩ 1,120 ይላል። የጋራዡ ጣሪያ 6 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። ማስመርመሪያውስ?

ሜሪላንዷ፦ ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ ያለው የኛ ሰው ጋ ውሰደው። ሞተሩን በድምፁ ብቻ ነው የሚለየው። ባለቤቴ ከሱ ሌላ ማንንም አያስነካም።

ባለጋራዥ፦ እህቴ፣ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ግን ማንሻ አለው? ኮምፒዩተር ሰክቶ የተመዘገበውን ኮድ ያነባል? ያየውን በጽሑፍ ይሰጣል? ሦስቱ ከተሟሉ የትም ይሁን። ሻጩ «ከዚህ አይወጣም» ካለ አትግዛ።

ኤፍ-150 ከመረጥክ ሞተሩ ቀዝቅዞ ባደረበት ጠዋት ሂድ። ከ2017 እስከ 2020 ያለው ባለ 3.5 ሊትር ኢኮቡስት (የፎርድ ቱርቦ ሞተር) ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ከተንኳኳ የካም ፌዘሩ (የቫልቮቹን መክፈቻ ጊዜ የሚያስተካክለው ክፍል) ነው፤ ጥገናው ውድ ነው። ባለ አሥር ማርሹን ካምቢዮ በዝግታ እየነዳህ ከ3ኛ ወደ 4ኛና 5ኛ ሲቀይር አድምጠው፤ ቢመታ ወይም ቢያመነታ ተወው። ለአንተ ሥራ ባለ 2.7ቱ ይበቃል፤ እሱም የፕላስቲክ የዘይት ገንዳው ዳር እንዳያፈስ እይ።

ሌላ ትልቅ መኪና ካማረህ በሻንሲ ቁጥሩ የሪኮል (አምራቹ ለጥገና መልሶ የመጥራት) ታሪኩን በፌዴራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ፈትሽ። የ2022ና የ2023 ቱንድራ ሞተሩ ውስጥ በቀረ የብረት ፍቅፋቂ ምክንያት በ2024 ተጠርቷል። ባለ 6.2 ሊትር ሲልቨራዶና ሲየራ ደግሞ ከ2021 እስከ 2024 ያሉት በ2025 ተጠርተዋል። ሥራው መጠናቀቁን የሚያሳይ ወረቀት ጠይቅ።

የጭነት ሂሳብ፦ 1,120 ከሆነ ሁለት ሰው ሲገባ ለዕቃ 770 ይቀራል። በዚህ ሥራህ አይራመድም፤ ተሳቢ ካልጨመርክ በቀር። ባለ 6 በ12 ጫማ ክፍት ተሳቢ ባንድ አክስል ጠቅላላ 2,990 ፓውንድ ተብሎ ይሸጣል፤ ቨርጂኒያ ከ3,000 ጀምሮ የራሱ ፍሬን ስለምትጠይቅ ነው። ራሱ 1,000 ገደማ ቢመዝን 1,900 ያህል ሴራሚክ ይይዛል። ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው መንጠቆው ላይ እንዲያርፍ ካርቶኑን ከአክስሉ ትንሽ ወደ ፊት አድርገህ ደርድር፤ ወደ ኋላ ከበዛ አውራ ጎዳና ላይ መወዛወዝ ይጀምራል። መንጠቆው ላይ የሚያርፈው ከ300 እስከ 450 ፓውንድም ከ770ው ላይ ይቀነሳል። እንደዚያም ሆኖ ታኮማው ይችለዋል። ተሳቢውን የት ታሳድረዋለህ የሚለው ነው እንጂ! ቦታ ከሌለህ ስቲከሩ 1,800 የሚል ኤፍ-150 ፈልግና ሴራሚኩን በሁለት ጉዞ አድርስ።

ግብር ነክ፦ በራስህ ስም ወይም በኩባንያ የምትሠራ ከሆነ በሩ ላይ ያለውን ጠቅላላ ክብደትም (መኪናው ከነጭነቱ የሚፈቀድለትን) እይ። ከ6,000 ፓውንድ በላይ ከሆነና ከግማሽ በላይ ለሥራ ካዋልከው፣ በመጀመሪያው ዓመት የሚቀነስልህ ወጪ በጣም ይሰፋል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ዓመታዊ ጣሪያ አለበት። ልጆች የምታሳፍርበትን ማይል ለይተህ መዝግብ። ከመፈረምህ በፊት የሂሳብ ባለሙያህን አነጋግር።

የዴንቨሩ፦ ተሳቢ ከተነሳ አይቀር፣ ባለ 4 ፒን ሶኬት ያለው መኪና በቂ ነው ወይስ ባለ 7?

ባለጋራዥ፦ ባለ 4 ፒኑ መብራት፣ ፍሬቻና የፍሬን መብራት ብቻ ነው የሚያስተላልፈው። ተሳቢው የኤሌክትሪክ ፍሬን ካለው ባለ 7 ያስፈልግሃል፤ ጋቢና ውስጥ ደግሞ የፍሬን መቆጣጠሪያ መገጠም አለበት። ሶኬቱን ስትገዛ ውስጡ አረንጓዴ ዝገት እንዳልያዘ እይ። የተሳቢ መብራት አልሠራ ሲል ብዙ ጊዜ ችግሩ ወይ እሱ ነው፣ ወይ ከሻንሲው ጋር የታሰረችው ነጯ ሽቦ ላልታ ነው።