ክረምት ሳይገባ፦ ዶሮና አትክልት በአንድ ጓሮ፣ ምን ላዘጋጅ?

የሳሪሷ ጓሮ

ሰላም ለዚህ ቤት ቤተሰቦች። አዲስ አበባ፣ ሳሪስ አካባቢ ነኝ። ከቤቱ ጀርባ 6 በ8 ሜትር የሚሆን ቦታ አለ። አፈሩ ጥቁር መረሬ ነው፤ ሲዘንብ እግር ይይዛል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። 10 ቦቫንስ ብራውን የሚባሉ የእንቁላል ዝርያ ዶሮዎች አሉ፣ ዕድሜያቸው 9 ወር። ቤታቸው 2 በ1.5 ሜትር፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጉዝጓዙ የጤፍ ጭድ ነው። አሁን በቀን 8 ወይም 9 እንቁላል ይሰጣሉ።

ክረምት ሲገባ እንቁላል እንደሚቀንስ ሁሉም ይነግረኛል፤ ኢንተርኔት ላይ ደግሞ መፍትሔው አምፖል ነው ይላሉ። ለእኛ አገር ይሠራል? ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ኩሱ ነው። ጥሬውን መደብ ላይ መበተን ቆስጣ ያቃጥላል ሲባል ሰምቻለሁ፤ እንዴት ነው የሚዘጋጀው? ደግሞ በዚህ አፈር ላይ ምን በየትኛው ወር ይተከላል? በተለይ ቲማቲም። በዝርዝር ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ቆጥና ጉዝጓዝ

በግንቦት መጠየቅዎ ጥሩ ነው፤ ሐምሌ ገብቶ የዶሮ ቤት ማስተካከል ከባድ ነው።

ከአምፖሉ ልጀምር። ያ ምክር የተጻፈው በብርዱ ወራት ቀኑ ወደ 8 ሰዓት ለሚያጥርባቸው አገሮች ነው። አዲስ አበባ ላይ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ረጅሙ ቀን ደግሞ የሚውለው ሰኔ ላይ ነው። ስለዚህ ሐምሌ ላይ እንቁላል ቢቀንስ ቀኑ ስላጠረ አይደለም። እርግጥ ጣይ ዶሮ ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ብታገኝ የተሻለ ትጥላለች። ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ንጋት የምትበራ ባለ 5 ዋት አምፖል ለእርስዎ ቤት ትበቃለች። ነገር ግን አንዴ ከጀመሩ በየቀኑ በአንድ ሰዓት መብራት አለባት። መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ዛሬ በርቶ ነገ የሚጠፋ ከሆነ ግን ዶሮዎቹን ስለሚያውክ ባይጀምሩት እመርጣለሁ።

የክረምቱ ዋና ጠላት እርጥበት ነው። ኩስ ሲረጥብ አሞንያ ያወጣል፤ አሞንያው ዓይናቸውንና መተንፈሻቸውን ያቆስልና ለሌላ በሽታ በር ይከፍታል። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ኮክሲዲያም ቢሆን በእርጥብና ሞቅ ባለ ጉዝጓዝ ውስጥ በ2 ቀን ገደማ ለመበከል ይደርሳል። በደረቅ ጉዝጓዝ ግን እንደዚያ አይራባም።

መሞከሪያው ቀላል ነው። ከማጠጫው አጠገብ አንድ እፍኝ ጉዝጓዝ አንሥተው ጨበጥ ያድርጉና እጅዎን ይክፈቱ። ከተበተነ ደህና ነው፤ እንደ ሊጥ ተጣብቆ ከቀረ ያ ቦታ ዛሬውኑ ወጥቶ በደረቅ መተካት አለበት። ቀጥሎ በዶሮዋ ቁመት ቁጢጥ ብለው ይተንፍሱ። ቆመው ሲገቡ ምንም ላይሸትዎ ይችላል፤ እነሱ የሚተነፍሱት ግን እዚያ ታች ያለውን አየር ነው። ዓይንዎን ካቃጠለዎት ለእነሱ ከልክ አልፏል።

የጤፍ ጭድ ብቻውን ቶሎ ይረጋገጥና ይጣበቃል። ግማሽ በግማሽ ከሰጋቱራ ጋር ቀላቅለው ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያንጥፉ፣ በ2 ወይም በ3 ቀን አንዴ በመንሽ ያገላብጡ። ማጠጫውን በዶሮዋ ጀርባ ቁመት ልክ ጡብ ላይ ያስቀምጡት፤ ከሥሩ የሽቦ ወንፊት የተወጠረበት ሣጥን ቢኖር የሚንጠባጠበው ውኃ ጉዝጓዙን አይነካም። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ብርድ እንዳይገባ ብሎ ቤቱን ዙሪያውን በላስቲክ ሲጠቀልል ነው። ዶሮ ደረቅ ከሆነች የአዲስ አበባን ብርድ ትችላለች፤ የማትችለው የታፈነ እርጥብ አየር ነው። ስለዚህ ግድግዳው ከወለል እስከ ቆጡ ከፍታ ይደፈን፤ ከጣሪያው ሥር ያለው 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ግን በሽቦ ተሸፍኖ ክፍት ይሁን። ዝናብ እንዳያስገባ ቆርቆሮው ከግድግዳው ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ወጣ ይበል። ቆጡ ላይ ለአንዷ ዶሮ 20 ሳንቲ ሜትር ቦታ ያስፈልጋታል፤ ለእንቁላል መጣያ ደግሞ 30 በ30 የሆኑ 2 ሣጥኖች ለ10 ዶሮ ይበቃሉ።

መኖ አንዷ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ትበላለች፤ ለ10ሩ በወር 35 ኪሎ ገደማ ነው። በክረምት ከአንድ ወር በላይ የሚሆን አይግዙ። ጆንያው ከወለል 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ ሳንቃ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። የሻገተ መኖ ፀሐይ ላይ ቢሰጣም መርዙ አይለቅም፤ መጣል ነው። ጎመንና ቆስጣ ይወዳሉ፤ ነገር ግን ቅጠል አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ከመጠን ሲያልፍ በሆዳቸው የመኖውን ቦታ ይይዝና እንቁላሉ ይቀንሳል። ለአንዷ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ይበቃል። የቲማቲምና የድንች ቅጠል፣ የአቮካዶ ልጣጭ በፍጹም አይስጡ።

መደብና ቦይ

የዶሮውን ነገር ወንድሜ ጨርሶታል፤ እኔ ወደ መሬቱ ልሂድ።

የመረሬ አፈር ችግር በክረምት ሥር መታፈኑ ነው። ሰኔ ሳይገባ መደቡ 1 ሜትር ወርድ፣ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ኖሮት ይሠራ፤ በመደቦቹ መካከል 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ ይኑር፤ ቦዩም ወደ ግቢው ዝቅተኛ ጥግ ይፍሰስ። አፈሩ ረግረግ እያለ አይቆፍሩት፣ አይርገጡትም፤ ሲደርቅ ጡብ ይሆናል። ለቁፋሮ የሚመቸው ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ቀላል ዝናቦች በኋላ ያሉት ጥቂት ቀናት ናቸው።

ክረምቱን የሚችሉት ሀበሻ ጎመንና ቆስጣ ናቸው። ግንቦት ላይ ዘርቶ ሰኔ መጨረሻ ላይ ችግኙን በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ማዛወር ነው። ነጭ ሽንኩርት ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ይተከላል፤ መደቡ ጫፍ ላይ፣ ውኃ በማይቆምበት። ካሮትና ቀይ ሥር ግን በክረምት መረሬ ውስጥ ስለሚበሰብሱና ስለሚጣመሙ ለመስከረም ይተዉአቸው።

ቲማቲም በአዲስ አበባ ክረምት ውጭ አይተከልም። ምክንያቱ ሌት ብላይት የሚባለው በሽታ ነው። ቅጠል ለረጅም ሰዓት ሲረጥብና አየሩ ሲቀዘቅዝ ይነሣል፤ መጀመሪያ ውኃ የነካው የሚመስል ጥቁር ቡናማ ነጥብ ይወጣል፣ ከቅጠሉ ሥር ነጭ ሻጋታ ይታያል፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ተክሉ እንዳለ ይጠቁራል። ድንችንም የሚያጠፋው ይኸው ነው፤ ስለዚህ ካለፈው ዓመት ተረስቶ የበቀለ ድንች ካለ ነቅለው ያስወግዱ። የቲማቲምና የቃሪያ ዘር ነሐሴ አጋማሽ ላይ ዝናብ በማይነካው ከለላ ሥር ይዝሩ፤ ችግኙ ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ፣ መስከረም መጨረሻ ላይ ይተከላል። በ50 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ 1.5 ሜትር እንጨት ተተክሎለት፣ ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳ አጠገብ ቢሆን ይመረጣል። መሬት የሚነኩትን የታች ቅጠሎች ይቁረጡ፤ ሲያጠጡም ሥሩን እንጂ ቅጠሉን አይንኩ። የፍሬው ቂጥ ጠቁሮ ጠፍጠፍ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ተላላፊ በሽታ ሳይሆን ውኃው መዛባቱ ነው፤ አፈሩ እስኪሰነጠቅ ደርቆ ድንገት ሲጠጣ ካልሲየም ወደ ፍሬው አይደርስም። በበጋ መረሬን በየቀኑ ከመርጨት ይልቅ በ3 ቀን አንዴ ለካሬ ሜትር 15 ሊትር ያህል ሰጥቶ በጭድ መሸፈን ይሻላል።

አሁን ኩሱ። የዶሮ ኩስ ከከብት እበት ይልቅ ናይትሮጂኑ ከፍተኛ ነው፤ ጥሬውን ሲበትኑት አሞንያውና ጨዉ ለጋ ሥር ያቃጥላሉ። ጥሬ በሚበላ ሰላጣ ላይ ደግሞ ሳልሞኔላ ሊያመጣ ይችላል። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ከቤቱ የሚወጣውን ኩስ የበዛበት ጉዝጓዝ፣ አንዱን ባልዲ ለሁለት ባልዲ ደረቅ ቅጠል ወይም ጭድ ሒሳብ እየቀላቀሉ 1 ሜትር ወርድ፣ 1 ሜትር ቁመት ያለው ክምር ይሥሩ። ከዚያ ካነሰ ሙቀት አይዝም። እርጥበቱ ሲጨመቅ ጠብታ የሚያወጣ ያህል ብቻ ይሁን፣ ከላይ ላስቲክ ይልበስ፤ ዝናብ ከገባበት ንጥረ ነገሩ ታጥቦ ይሄዳል፣ ክምሩም ይቀዘቅዛል። የብረት ዘንግ እስከ መሐሉ ሰክተው ከ10 ደቂቃ በኋላ ሲያወጡት በእጅ ለመያዝ የሚያስቸግር ከሆነ በትክክል እየሠራ ነው። በየ2 ሳምንቱ ያገላብጡ። መስከረም ላይ ጥቁር ሆኖ የአፈር ሽታ ሲኖረው ለካሬ ሜትር ከ1 እስከ 2 ኪሎ ከላይኛው አፈር ጋር ይቀላቅሉ። የካሮት መደብ ላይ አይጨምሩ፤ ሥሩ ቅርንጫፍ ያወጣል። ቲማቲምም ሲበዛበት ቅጠል ብቻ ይሆናል።

ደጋ ጓሮ

ከደብረ ብርሃን ነኝ፣ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ። ከላይ የተባለው ወር ለአዲስ አበባ ነው። እኛ ጋ ከጥቅምት ጀምሮ ውርጭ ስላለ መስከረም መጨረሻ የተተከለ ቲማቲም ፍሬ ሳይዝ ያልቃል። በቀዝቃዛው ደጋ የምታነቡ ካላችሁ በጋውን ለጎመን፣ ለቆስጣና ለነጭ ሽንኩርት ስጡት። ውርጭ የሚወርደው ሰማዩ በጠራና ነፋስ በሌለበት ሌሊት ነው። እንዲህ ያለ ምሽት ሲመጣ ማታ መሬቱን አጠጡ፣ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይይዛል፤ ችግኙን በጭድ ወይም በአሮጌ ጨርቅ ሸፍናችሁ ጠዋት አንሡ። ላስቲክ ቅጠሉን ከነካው የነካበት ቦታ ይቃጠላል።

በጋ ላይ ጎመኑን ክሽክሽ (የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ይወረዋል። ከቅጠሉ ጀርባ ተመልከቱ፤ በአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ ማታ ማታ ጀርባውን እርጩ፣ ከ5 ቀን በኋላ ድገሙ።

የመንደር እንስሳት ሐኪም

ሁለት ነገር ልጨምር። የፈንግል ክትባት አልተነሣም፤ እኔ ግን ከሁሉም በፊት የማስቀድመው እሱን ነው። ፈንግል በዝናቡ መግቢያና በበዓል ሰሞን፣ ዶሮ ከገበያ ገበያ በሚዘዋወርበት ጊዜ ይበረታል። ዶሮዎችዎ ክትባት ከወሰዱ 3 ወር ካለፋቸው አሁኑኑ ላሶታ የሚባለውን የፈንግል ክትባት ይድገሙላቸው። ክትባቱ ቢሾፍቱ ውስጥ የሚመረት ነው፤ ከወረዳው የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። ጠርሙሱ ለብዙ ዶሮ ስለሚሆን ከጎረቤት ጋር ተስማምተው በአንድ ቀን መስጠት ይቻላል። ሕይወት ያለው ክትባት ስለሆነ በበረዶ ይያዝ። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ይገድለዋል፤ የዝናብ ወይም የጉድጓድ ውኃ ይጠቀሙ፣ በሊትር 2 ግራም ያህል ቅባት የሌለው የዱቄት ወተት ይጨምሩ። ጠዋት ለአንድ ሰዓት ተኩል ውኃ ከልክለው፣ ለአንዷ 40 ሚሊ ሊትር በሚደርስ ውኃ በጥብጠው በ2 ሰዓት ውስጥ እንዲጨርሱ ያድርጉ። የታመመ ዶሮ አይከተብም። ለበዓል የተገዛ ዶሮ ደግሞ እስኪታረድ ከእነሱ ጋር አይቀላቀል፤ የሚያስቀምጡት ከሆነ 3 ሳምንት ለብቻው ይቆይ።

ሁለተኛው፣ "ሰኔ ላይ ጉዝጓዙን ማውጣት" ሲባል ወለሉን እስኪያሳይ መጥረግ እንዳይመስልዎት። በሽታ ካልነበረ ደረቁን አንድ ሦስተኛ ይተዉና አዲሱን በላዩ ያንጥፉ፤ አሮጌው ውስጥ ያሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ኩሱን ማፍረስ ይቀጥላሉ። ኮክሲዲያ ወይም ፈንግል ገብቶ ከነበረ ግን ሙሉ በሙሉ ይወጣል፣ ወለሉ ታጥቦ ይደርቃል፤ ያ ጉዝጓዝም ለጓሮ ከመዋሉ በፊት በደንብ በሚሞቅ ክምር ውስጥ ማለፍ አለበት።

የሳሪሷ ጓሮ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት የቀሩኝ፦ ዶሮዎቹን ወደ መደቡ መልቀቅ የሚቻልበት ጊዜ አለ? ደም የቀላቀለ ኩስ ባይና መድኃኒት ብሰጥ እንቁላሉ ይበላል?

መደብና ቦይ

አለ። አንድ ሰብል ተነሥቶ ሌላው እስኪተከል ባለው ክፍተት ለ10 ቀን ያህል መደቡ ላይ ይልቀቋቸው፤ ጭረው ቆራጭ ትልና የአረም ዘር ያጸዳሉ። መሬቱ ረግረግ ሲሆን ግን አይግቡ፣ መደቡን ያፈርሱታል። ችግኝ ሲኖር 1.5 ሜትር የዶሮ ሽቦ ይጠሩ፣ ከሥሩ 15 ሳንቲ ሜትር ይቅበሩት። የምትዘል ካለች የአንዱን ክንፍ 10 ረጃጅም ላባዎች ግማሽ ድረስ ይቁረጡ፤ ሁለቱን ክንፍ አይቁረጡ፣ ሚዛኗ እንዲዛባ ነው የሚፈለገው። ላባዋን ስትለውጥ መልሶ ይበቅላል።

የመንደር እንስሳት ሐኪም

ደም ሲያዩ በመጀመሪያ ጉዝጓዙን ያድርቁ፤ ካልደረቀ መድኃኒቱ ለጊዜው ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አምፕሮሊየም በውኃ ይሰጣል፣ በዚያ ጊዜ ሌላ ውኃ አያግኙ። የቫይታሚን ቢ ዱቄትን አብረው አይስጡ፤ አምፕሮሊየም የሚሠራው ጥገኛው ቢ1 እንዳያገኝ በማድረግ ስለሆነ ያከሽፈዋል፤ ሕክምናው ሲያልቅ መስጠት ይችላሉ። እንቁላሉን በተመለከተ እሽጉ ላይ የተጻፈውን የእንቁላል መከልከያ ቀን ያንብቡ፤ እንደ መድኃኒቱ ይለያያል። ኦክሲቴትራሳይክሊን የመሰለ አንቲባዮቲክ ከሆነ የተጻፈው ቀን እስኪያልፍ እንቁላሉ አይበላም፣ አይሸጥም። የሚሰጡበትን ቀን በዶሮ ቤቱ በር ላይ በጠመኔ ይጻፉት።